የኮሳ ወጣቶች የግርዛት ትምህርት ቤት፦ ልጆቹን የሚገድለው ምንድን ነው?

ደቡብ አፍሪካ ውስጥ፣ በተለይ ኢስተርን ኬፕ በሚባለው ግዛት፣ በዓመት ሁለት ጊዜ ትምህርት ሲዘጋ በሺዎች የሚቆጠሩ የኮሳ ብሔረሰብ ወጣቶች ከሰፈራቸው ርቀው ዱር ይገባሉ። አንደኛው ወቅት ጁንና ጁላይ ነው፣ ሁለተኛው ከኖቬምበር እስከ ዓመቱ መጨረሻ። ልጅ ሆነው ይገባሉ፣ ወንድ ተብለው ይወጣሉ። ሥርዓቱ ኡልዋሉኮ ይባላል። ትምህርት ቤት ስለተባለ ሰሌዳና ወንበር እንዳትጠብቁ። ከእንጨትና ከሣር፣ አሁን አሁን ደግሞ ከላስቲክ የሚሠራ ጎጆ ነው።

እኛ አገር ብዙ ቤተሰብ ወንድ ልጁን ገና በሕፃንነቱ ስለሚያስገርዝ ነገሩ ይህን ያህል ለምን እንደሚከብድ ቶሎ ላይገባን ይችላል። ኮሳዎች ዘንድ ያልተገረዘ ሰው 30 ዓመት ቢሞላውም ልጅ ነው። ወንዶች ተሰብስበው ሲመክሩ ቦታ የለውም፣ ትዳር ሲያስብም ይቸገራል፣ እኩዮቹ ያሾፉበታል። ሆስፒታል ሄዶ በሐኪም ቢገረዝ እንኳ ብዙዎች አይቆጥሩለትም። ስለዚህ «ለምን አይተዉትም?» የሚለው ጥያቄ እዚያ ሰፈር ውስጥ ብዙ አያስኬድም።

በወጉ ሲሆን እንዲህ ነው። ገራዡ በአንድ ምት ይገርዘዋል፣ ልጁም «ወንድ ነኝ!» ብሎ ይጮኻል። ማልቀስ የለም። ከዚያ ሰውነቱን ነጭ አፈር ይቀባና ብርድ ልብስ ተከናንቦ ጎጆው ውስጥ ይቆያል። ቁስሉ በቅጠል ይሸፈናል፣ በቀጭን የቆዳ ጠፍር ይታሰራል። የመጀመሪያው ሳምንት ከባድ ነው፤ ውሃ አይሰጠውም ወይም ጥቂት ብቻ ነው የሚቀምሰው፣ ምግቡም ደረቅ ነው። ይህ ሲያበቃ ፍየል ይታረድለታል። በመጨረሻ ወንዝ ወርዶ አፈሩን ይታጠባል፣ ጎጆው ከነዕቃው ይቃጠላል፣ ወጣቱም ወደ ኋላ ዞር ብሎ ሳያይ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ቤት ድግስ ይጠብቀዋል። ኔልሰን ማንዴላም በ1934 ገና የ16 ዓመት ልጅ ሳሉ ምባሼ ወንዝ ዳር በዚሁ ሥርዓት አልፈዋል።

ችግሩ ሁሉም በሕይወት አለመመለሳቸው ነው። በ2013 የክረምት ወቅት ኢስተርን ኬፕ ውስጥ ብቻ 30 ያህል ወጣቶች ሞቱ፣ 300 የሚሆኑት ደግሞ ሆስፒታል ገቡ። የዚያን ዓመት ጉድ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ወቅቱ በመጣ ቁጥር የሞት ዜናም አብሮ ይመጣል።

ሰው ከሩቅ ሲሰማ የሚገድለው ስለቱ ይመስለዋል። ስለቱ ንጹሕ ነው ማለቴ አይደለም፤ አንድን ስለት ለብዙ ልጆች መጠቀም ኤች አይ ቪን ጨምሮ ስንት ጣጣ ያመጣል። አብዛኛው ጥፋት የሚደርሰው ግን ከግርዛቱ በኋላ ባሉት ቀናት ነው። አንዱ ገዳይ ጥማት ነው። ውሃ ከጠጣ ቁስሉ ቶሎ አይደርቅም የሚል እምነት አለ፣ በዲሴምበር ሙቀት ደም የፈሰሰውን ልጅ ውሃ ከከለከሉት ደግሞ ኩላሊቱ ብዙ አይታገስም። ሌላው ያ የቆዳ ጠፍር ነው። ልምድ ያለው ሰው በየጊዜው እየፈታ፣ ቁስሉን እያየ፣ ቅጠሉን እየቀየረ መልሶ ያስረዋል። ልምድ የሌለው ደም እንዲቆም ብሎ ጥብቅ ያደርገውና ይረሳዋል። ጠፍሩ ደም እንዳያልፍ ያግዳል፣ ሥጋው ይጠቁራል፣ ይሞታል። ቁስሉ ሲያመረቅዝ መርዙ በደም ይሰራጫል። ከሞት የተረፈውም ብልቱን የሚያጣበት ጊዜ አለ። በዓለም የመጀመሪያው የተሳካ የወንድ ብልት ንቅለ ተከላ በዲሴምበር 2014 ኬፕ ታውን ውስጥ የተደረገው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ታካሚው የ21 ዓመት ወጣት ሲሆን ብልቱን ያጣው ከሦስት ዓመት በፊት እንዲህ ባለ ግርዛት ነበር።

እንግዲህ ጥያቄው ያን ጠፍር የሚፈታው ማን ነው የሚለው ነው። ድሮ ዕድሜ ጠገብ፣ አባት የሚያውቀውና የሚያምነው ሰው ነበር። ዛሬ በየቦታው ይህን ሥራ የያዙት ራሳቸው በቅርቡ የተገረዙ ጎረምሶች ናቸው። አንዳንዱ ይጠጣል፣ አንዳንዱ «ወንድነት ይልመድ» እያለ ልጆቹን ይደበድባል። በዱላ የሞቱም አሉ።

ነገሩ ጎልቶ የሚታየው ፖንዶላንድ በሚባለው አካባቢ ነው፤ ሉሲኪሲኪ፣ ፍላግስታፍ፣ ሊቦዴ። የምፖንዶ ሕዝብ ንጉሥ የነበረው ፋኩ ግርዛቱን በ19ኛው ክፍለ ዘመን አስቀርቶት ነበር። በቅርብ አሥርት ዓመታት ወጣቶቹ መልሰው ጀመሩት፣ ከጎረቤት ኮሳዎች ማነስ አልፈለጉማ! ግን ብዙዎቹ አባቶች በወጉ አልተገረዙም። በወጉ ያልተገረዘ ሰው ደግሞ ጎጆው ጋ አይደርስም። አባት ልጁ ምን ላይ እንዳለ ሄዶ ማየት አይችልም ማለት ነው። እናትማ ጭራሽ አትታሰብም። ብዙ አባቶች ለሥራ ወደ ማዕድን ማውጫዎችና ወደ ትልልቅ ከተሞች በመሄዳቸው ልጅ ብቻዋን የምታሳድግ እናት ብዙ ናት፣ እሷም ልጇ የሞተ እንደሆነ ነው የምትሰማው።

ምስጢሩም የራሱን ያህል ያጠፋል። ዱር ውስጥ የሆነው ለሴት፣ ላልተገረዘ፣ ለውጭ ሰው አይነገርም። የታመመ ልጅ ሆስፒታል ከሄደ «ያልጨረሰ» ይባላል፣ ስለዚህ እስኪበሰብስ ይታገሳል። በ2014 እዚያው ፍላግስታፍ አካባቢ የሚሠራ አንድ ሆላንዳዊ ሐኪም የተጎዱ ወጣቶችን ፎቶ ኢንተርኔት ላይ ሲያወጣ የባህል መሪዎቹ በጣም ተቆጡ። አቀራረቡ ብዙም አይጥመኝም፣ ግን ሰውዬው በየወቅቱ እነዚያን ልጆች ሲያክም የነበረ ነው።

ገንዘብም አለ። ቤተሰብ ይከፍላል፣ ክፍያ ባለበት ደግሞ አጭበርባሪ አይጠፋም። ያልተመዘገበ ጎጆ ይቀልስና የ12 እና የ13 ዓመት ልጆችን ሳይቀር ይሰበስባል። ልጆቹም ዕድሜያቸውን ዋሽተው፣ ከቤት ጠፍተው ይመጣሉ። ቆይታውም አጥሯል። ድሮ ወራት ይፈጅ የነበረው አሁን በትምህርት ዕረፍት ልክ ተቆርጦ ሦስት አራት ሳምንት ሆኗል። የታሪክ፣ የሥነ ምግባር፣ የቤተሰብ አመራር ትምህርቱ በዚህ መሃል ሳስቷል፣ ግርዛቱና ቅጣቱ ግን እንዳሉ ናቸው። ከተማ ውስጥ ደግሞ ዱሩ ራሱ ጠፍቷል፤ ኬፕ ታውን ላይ ጎጆዎቹ አውራ ጎዳና ዳር ሁሉ ይቀለሳሉ።

ሕግ አልጠፋም። ኢስተርን ኬፕ በ2001 የጤና ደንብ አወጣ፣ በ2016 ሌላ ጨመረ፣ በ2021 ደግሞ አገር አቀፉ የባህላዊ ግርዛት ሕግ ሥራ ላይ ዋለ። ዕድሜው 16 ያልሞላ አይገባም፣ ትምህርት ቤቱ መመዝገብ አለበት፣ ልጁ ቀድሞ የጤና ምርመራ ያደርጋል፣ 18 ዓመት ላልሞላው ደግሞ ወላጁ ይፈቅድለታል። ወረቀቱ ላይ ሁሉም ያምራል። ሆኖም ሸለቆ ውስጥ የተደበቀ ጎጆ ጋ ተቆጣጣሪው ሲደርስ ብዙ ጊዜ ዘግይቷል፣ ፖሊስ የዘጋውም በሳምንቱ ማዶ ተራራው ላይ ይከፈታል። ባለሥልጣናቱ የባህል አለቆችን ይወቅሳሉ፣ አለቆቹ መንግሥት በባህላችን ገባ ይላሉ። የሚሠራው ሰፈሩ ራሱ ገራዡን የሚያውቅበት፣ የተገረዙ አባቶችና አጎቶች በየቀኑ እየሄዱ ቁስሉን የሚያዩበትና ውሃ የሚያጠጡበት ቦታ ላይ ነው። እንዲህ ያሉ ቦታዎች አሉ፤ ልጆቹ በሰላም ገብተው በሰላም ስለሚወጡ ግን ዜና አይሆኑም።