የቅኝ ግዛት ዘመን አሜሪካዊ ገበሬን የዘር ሐረግ መፈለግ፦ የሊንከን ቤተሰብ ምሳሌ

አብርሃም ሊንከን ፕሬዚዳንት ከመሆናቸው በፊት፣ በዲሴምበር 1859፣ አጭር የሕይወት ታሪካቸውን ጽፈው ለአንድ ወዳጃቸው ላኩ። ስለ አባቶቻቸው የሚያውቁት በጥቂት መስመሮች አለቀ። አያታቸው ከቨርጂኒያ ወደ ኬንታኪ ተሰደደ፤ ደን መንጥሮ እርሻ ሲያቀና በአገሬው ተወላጆች ተገደለ፤ የአያታቸው ወገኖች ደግሞ ወደ ቨርጂኒያ የመጡት ከፔንሲልቬኒያ፣ ከበርክስ ካውንቲ ነበር። ከዚያ ወዲያ ያለው ጨለማ ነው። በኒው ኢንግላንድ (ማሳቹሴትስን በሚያጠቃልለው የሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ ክፍል) ካሉት ሊንከኖች ጋር ዝምድና ለማግኘት ተሞክሮ ነበር፤ የተገኘው ግን በሁለቱም ወገን ኢኖክ፣ ሌዊ፣ ሞርደካይ፣ ሰሎሞንና አብርሃም የሚሉ ስሞች መደጋገማቸው ብቻ እንደ ሆነ ራሳቸው ጽፈዋል። ሞርደካይ የእኛው መጽሐፍ ቅዱስ መርዶክዮስ የሚለው ነው።

ዝምድናው እውነት ነበር። ሊንከን ከሞቱ በኋላ የዘር ሐረግ አጥኚዎች መዝገብ ከመዝገብ እያያያዙ በ1637 ከእንግሊዝ ተነሥቶ ማሳቹሴትስ እስከ ገባው ሳሙኤል ሊንከን ድረስ ዘለቁ። ሳሙኤል፣ ሞርደካይ፣ ሁለተኛው ሞርደካይ፣ ጆን፣ አብርሃም፣ ቶማስ፣ ከዚያም ፕሬዚዳንቱ፤ ልክ ሰባት ቤት ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታትና ወራት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ቤተሰቡ ሸማኔም ብረት ቀጥቃጭም አፍርቷል፤ ሁሉንም የሚያገናኛቸው ግን እርሻ ነው። ታዋቂ ያልሆነ የቅኝ ግዛት ዘመን ገበሬን ዱካ ለመከተል ከዚህ የተሻለ ማሳያ አላውቅም። የአንድ ፕሬዚዳንት አባቶች ስለሆኑ በሚገባ ተመርምረዋል፤ በኖሩበት ዘመን ግን ከጎረቤቶቻቸው የሚለዩበት ነገር አልነበረም።

እንዲህ ያለ ገበሬ የዕለት ማስታወሻ አይጽፍም፤ ደብዳቤውም ቢሆን እምብዛም አይገኝም። ነገር ግን መሬት ይገዛል፣ ግብር ይከፍላል፣ ጎረቤቱን ይከሳል፣ ሲሞት ላምና ድስት ትቶ ይሞታል። እያንዳንዱ ድርጊት አንድ ወረቀት ይወልዳል። ፍለጋውም ከታወቀው ሰው ተነሥቶ ትውልድ በትውልድ ወደ ኋላ ይሄዳል። ከላይ ወደ ታች፣ ማለትም ስሙ ደስ ካሰኘ ጥንታዊ ሰው ተነሥቶ ወደ ራስ መውረድ፣ የጀማሪዎች ሁሉ ስሕተት ነው።

ብዙ ሰው በሕዝብ ቆጠራ ይጀምራል፤ ለዚህ ዘመን ግን ቆጠራው ብዙ አይረዳም። የአሜሪካ የመጀመሪያው አገር አቀፍ ቆጠራ የተካሄደው በ1790 ሲሆን በስም የመዘገበው የቤቱን አባወራ ብቻ ነው፤ ሚስትና ልጆች በቁጥር ብቻ ተቀምጠዋል። ነጻ ሰው ሁሉ በስሙ የተመዘገበው ከ1850 ጀምሮ ነው። የቨርጂኒያ የ1790 ቅጾች ደግሞ ጠፍተዋል።

የሚገኘው ሰነድ ዓይነት በየቅኝ ግዛቱ ይለያያል። በኒው ኢንግላንድ የከተማው ጸሐፊ ልደት፣ ጋብቻና ሞትን ይመዘግብ ነበር፤ በማሳቹሴትስ ይህ በሕግ የታዘዘው በ1639 ነው። ስለዚህ የሳሙኤል ልጆች ልደት በቀንና በወር ይታወቃል፤ ለምሳሌ የመጀመሪያው ሞርደካይ በማሳቹሴትሷ ሂንግሃም ከተማ ውስጥ በጁን 14 ቀን 1657 ተወለደ። ወደ ደቡብ በተሄደ ቁጥር ይህ ምቾት ይቀራል። በፔንሲልቬኒያ ኩዌከሮች የተባሉት የፕሮቴስታንት ማኅበረ ምእመናን የራሳቸውን አባላት በጥንቃቄ ይመዘግቡ ነበር፤ በቨርጂኒያ ደግሞ ሥራው የአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን ነበር፤ ከእነዚያ መዝገቦች ብዙዎቹ ጠፍተዋል። በእነዚህ ቦታዎች ፈላጊው ከልደት መዝገብ ይልቅ መሬትንና ኑዛዜን የሙጥኝ ይላል።

ኑዛዜና መሬት

ሁለተኛው ሞርደካይ ከማሳቹሴትስ ወደ ኒው ጀርሲ፣ ከዚያም ወደ ፔንሲልቬኒያ ተሻገረ። በ1733 የሠራው የድንጋይ ቤት ዛሬም በርክስ ካውንቲ ውስጥ ቆሟል። በ1736 ከመሞቱ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ በጻፈው ኑዛዜ ለበኩር ልጁ ለጆን በኒው ጀርሲ ያለውን 300 ኤከር መሬት ተወለት። ጆን በ1748 ይህንኑ መሬት ሲሸጥ፣ መሬቱ ከአባቱ ከሞርደካይ በኑዛዜ የተላለፈለት መሆኑ በውሉ ላይ ሰፈረ። የልደት ምስክር ወረቀት በሌለበት አገር አባትንና ልጅን፣ ፔንሲልቬኒያንና ኒው ጀርሲን በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚያያይዝ ወረቀት ማለት ይህ ነው። ውሉን የጻፈው ሰው ስለ ዘር አላሰበም፤ ገዢው ነገ በፍርድ ቤት እንዳይሞገት ነበር ጭንቀቱ። የዘር ሐረግ አጥኚ ይህን ዓይነት ማስረጃ አብልጦ የሚያምነውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ከኑዛዜው ጋር አብሮ የሚቀመጥ ሌላ ወረቀት አለ፤ የሟች ንብረት ዝርዝር። ገበሬው በሞተ በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ሁለት ሦስት ጎረቤቶች በፍርድ ቤት ተሾመው ወደ ቤቱ ይመጣሉ። ከክፍል ክፍል እየተዘዋወሩ ያዩትን ሁሉ ከነዋጋው ይጽፋሉ፦ የላባ ፍራሽ ከነትራሱ፣ የብረት ድስት፣ ማረሻ፣ የበሬ ጥማድ፣ የሱፍ መፍተያ መንኮራኩር፣ ጠብመንጃ፣ አንድ አሮጌ መጽሐፍ ቅዱስ፣ ማሳ ላይ የቆመ በቆሎ። የላባ ፍራሹ ብዙ ጊዜ በቤቱ ውስጥ ካለው ዕቃ ሁሉ ውድ ከሚባሉት አንዱ ነው። የሽመና ዕቃ ከተገኘ፣ ኑዛዜው ዝም ቢል እንኳ፣ ሰውየው ሸማኔም እንደ ነበር ይታወቃል።

በዚሁ ዝርዝር ውስጥ ከከብቱ ቀጥሎ፣ ከነዋጋቸው፣ የሰዎች ስም የሚነበብበት ጊዜም አለ። በባርነት የተያዙ አፍሪካውያን ናቸው። የአባት ስም የላቸውም፤ በ1850 እና በ1860 በተካሄዱት የባሮች ቆጠራዎች እንኳ በዕድሜና በጾታ እንጂ በስም የተመዘገቡት እጅግ ጥቂት ናቸው። ስለዚህ የዛሬው ጥቁር አሜሪካዊ የአባቶቹን ዱካ ለማግኘት የነጩን ገበሬ ኑዛዜ፣ የንብረት ዝርዝርና የሽያጭ ውል ለማገላበጥ ይገደዳል። አባቶቹ ስማቸው የሰፈረው ባላቸው ንብረት ሳይሆን ራሳቸው ንብረት ተብለው ነው።

የመሬት ወሰኑ አጻጻፍ ራሱ አንድ ትምህርት ነው። በቨርጂኒያ ድንበር የሚለካው ምልክት ከተቆረጠበት የኦክ ዛፍ ተነሥቶ፣ በዚህ አቅጣጫ ይህን ያህል ፖል፣ ከዚያ ወንዙን ተከትሎ እስከ እገሌ ጥግ ድረስ እየተባለ ነበር። አንድ ፖል አምስት ሜትር ገደማ ነው። ዛፉ ከወደቀ መቶ ዓመት አልፎታል፤ በወሰኑ ላይ የተጠቀሰው ጎረቤት ግን ወርቅ ነው። ገበሬዎች ሲሰደዱ ብቻቸውን አይሄዱም፤ ከዘመድ፣ ከአማችና ከጎረቤት ጋር ይነሣሉ። የሰውየው ዱካ ሲጠፋ የጎረቤቱን መከተል ያዋጣል። ሊንከኖች በበርክስ ካውንቲ ከታዋቂው አሳሽ ከዳንኤል ቡን ቤተሰብ ጋር ጎረቤታሞች ነበሩ፤ ከሞርደካይ ልጆች አንዱ፣ አባቱ ከሞተ በኋላ የተወለደው አብርሃም፣ በ1760 አን ቡንን አገባ። (ይህ አብርሃም ከፕሬዚዳንቱ አያት ከአብርሃም ጋር እንዳይምታታ። ያው አጎቱ ነው፤ ደግሞም የዕድሜ ልዩነታቸው ስምንት ዓመት ያህል ብቻ ነው።)

የብኩርና ነገር

የውርስ ሕጉን ሳያውቁ ኑዛዜ ማንበብ ያሳስታል። በማሳቹሴትስ ሰው ሳይናዘዝ ከሞተ የበኩር ልጁ የሌሎቹን እጥፍ ይወስድ ነበር፤ ይህም ከኦሪት ዘዳግም 21፥17 የተቀዳ ነው። በቨርጂኒያ ግን እንደ እንግሊዝ ሕግ መሬቱ በሙሉ የበኩሩ ነበር። በኑዛዜ ውስጥ ለአንዱ ልጅ አንድ ሽልንግ ብቻ ተትቶለት ሲገኝ ብዙዎች አባቱ የካደው ይመስላቸዋል። ብዙ ጊዜ ግን ያ ልጅ ድርሻውን አባቱ በሕይወት ሳለ ወስዶ ጨርሷል።

የፕሬዚዳንቱ አያት አብርሃም በ1786 በኬንታኪ እርሻው ላይ ሲገደል ኬንታኪ ገና የቨርጂኒያ አካል ነበረች። ቨርጂኒያ የብኩርናን ውርስ የሚሽር ሕግ በ1785 አውጥታ ነበር፤ ሕጉ በሥራ ላይ የዋለው ግን ከጃንዋሪ 1 ቀን 1787 ጀምሮ ነው። አባትየው የሞተው በሜይ ነበር። በእነዚያ ጥቂት ወራት ልዩነት መሬቱ ሁሉ ለበኩሩ ለሞርደካይ ሆነ፤ የስምንት ዓመቱ የመጨረሻ ወንድ ልጅ ቶማስ ባዶ እጁን ቀረ። የፕሬዚዳንቱ አባት የቀን ሠራተኛ ሆኖ ያደገው፣ ፕሬዚዳንቱም በድህነት የተወለዱት ከዚህ የተነሣ ነው። ሊንከን በ1859ኙ ጽሑፋቸው አያታቸው የተገደለው ከ1782 በኋላ በዓመት በሁለት ዓመት ውስጥ እንደ ሆነ ጠቁመዋል፤ የቤተሰብ ትዝታ ሁለት ሦስት ዓመት ስቷል ማለት ነው። የውርሱን ምክንያት ለመረዳት ግን ልዩነቱ ቀላል አይደለም፤ ጥቂት ወራት እንኳ ነገር ለውጠዋል።

ወጥመዶቹ

የመጀመሪያው ሞክሼ ነው። በማሳቹሴትሷ ሂንግሃም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አራት ቶማስ ሊንከኖች ነበሩ። ጸሐፊዎቹም ሲጨንቃቸው ሸማኔው ቶማስ፣ ባለወፍጮው ቶማስ፣ በርሜል ሠሪው ቶማስና አራሹ ቶማስ እያሉ ለዩአቸው። የሳሙኤል ወንድም ሸማኔው ነበር። በዚያ ዘመን «ትልቁ» እና «ትንሹ» የሚሉ ቅጽሎች አባትና ልጅን ብቻ አያመለክቱም፤ ዘመድ ያልሆኑ ሁለት ሞክሼዎችንም ይለያሉ። የወንድምን ልጅ በአጎት ልጅ መጠሪያ መጥራትም የተለመደ ነበር።

አጻጻፍ ሌላው ነው። በኬንታኪ የመሬት ሰነዶች የፕሬዚዳንቱ አያት «ሊንክሆርን» ተብሏል። ጸሐፊው የጻፈው የሰማውን ነው፤ በአንድ ፊደል ልዩነት የዘር ሐረግ የሚቆርጥ ፈላጊ ብዙ አያገኝም።

ሦስተኛው የቀን አቆጣጠር ነው፤ ለእኛ አንባቢ ይህ አዲስ ነገር አይሆንም። እንግሊዝና ቅኝ ግዛቶቿ እስከ 1752 ድረስ የቆየውን የጁሊያን አቆጣጠር ይከተሉ ነበር፤ አዲሱ ዓመትም የሚገባው በማርች 25 ነበር። ስለዚህ በጃንዋሪ፣ በፌብሩዋሪና በማርች የተጻፈ ሰነድ ሁለት ዓመት ይዞ ይገኛል፤ የሞርደካይ ኑዛዜ ፌብሩዋሪ 22 ቀን 1735/6 የሚለው ለዚህ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ልጅ ከወላጆቹ ጋብቻ በፊት እንደ ተወለደ አድርጎ በከንቱ ስም ያጠፋል።

ሴቶችን መፈለግ ከሁሉም ይከብዳል። ሲያገቡ ስማቸው ይለወጣል፤ በኑዛዜም «ውድ ባለቤቴ ሜሪ» ተብለው ያልፋሉ። ባል መሬት ሲሸጥ ሚስት የሦስተኛ እጅ መብቷን፣ ማለትም ባሏ ቢሞት ከመሬቱ ሲሶውን የመያዝ መብቷን፣ መልቀቋን መግለጥ ስለነበረባት፣ አንዳንዴ ስሟ የሚገኘው በሽያጭ ውል ግርጌ፣ ከአንዲት የመስቀል ምልክት አጠገብ ነው። የሊንከን ወላጆች የቶማስና የናንሲ ሃንክስ ጋብቻ መዝገብ ለረጅም ጊዜ ተፈልጎ ጠፍቶ ነበር፤ በዚህም ሳቢያ ስለ ልደታቸው ብዙ ሐሜት ተወርቷል። መዝገቡ የተገኘው ፕሬዚዳንቱ ከሞቱ ከዐሥራ ሦስት ዓመት በኋላ በ1878 ነው። ይፈለግ የነበረው በሃርዲን ካውንቲ ሲሆን የጋብቻው ሥርዓት በጁን 12 ቀን 1806 የተፈጸመው በዋሽንግተን ካውንቲ ነበር። የናንሲ የራሷ እናት ማን እንደ ነበረች ደግሞ ክርክሩ የቀጠለው በ2015 በእናት መስመር የሚወረሰው ዘረመል ተመርምሮ የሉሲ ሃንክስ ልጅነቷ እስኪረጋገጥ ድረስ ነው።

ሰነድ ይቃጠላልም። የሊንከኖች መኖሪያ የነበረው የቨርጂኒያው ሮኪንግሃም ካውንቲ በ1864 በእርስ በርስ ጦርነቱ ወቅት መዝገቦቹን ለማትረፍ በጋሪ ጭኖ ሲያሸሽ፣ የሰሜን ወታደሮች ጋሪውን ከነጭነቱ በእሳት ለኮሱት። ሰዎች ደርሰው ከፊሉን አዳኑ፤ ጠርዛቸው የተለበለበ ገጾች ዛሬም ይነበባሉ።

የተረፈውን የሚጠብቁ ተቋማት አሉ። በቦስተን የሚገኘው የኒው ኢንግላንድ የታሪክና የዘር ሐረግ ማኅበር የተመሠረተው በ1845 ነው። በዩታ ደግሞ በ1894 የተቋቋመው የሞርሞን ቤተ ክርስቲያን ማኅበር ከ1938 ጀምሮ መዝገቦችን በማይክሮፊልም ሲያነሣ ኖሮ፣ ዛሬ ፋሚሊሰርች በሚል ስም ያለ ክፍያ በኢንተርኔት ያቀርባል። ከዚሁ ጎን ለጎን የሐሰት ገበያም ነበር፤ በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ጉስታቭ አንዡ የተባለ ሰው ለባለጸጎች የፈጠራ የዘር ሐረግ እየሠራ ይሸጥ ነበር። የእርሱ ፈጠራዎች ዛሬም ከአንዱ የኢንተርኔት የቤተሰብ ዛፍ ወደ ሌላው ሲገለበጡ ይታያሉ።

የመጨረሻው እርምጃ ውቅያኖሱን መሻገር ነው፤ አብዛኞቹ ፍለጋዎች እዚህ ይቆማሉ፣ ገበሬው ከየትኛው የእንግሊዝ መንደር እንደ መጣ የሚናገር ወረቀት እምብዛም አይገኝምና። የሳሙኤል ግን ተገኝቷል። በ1637 ከያርመዝ ወደብ የተነሡ መንገደኞች ዝርዝር ላይ ፍራንሲስ ሎውስ የተባለ የኖሪች ሸማኔ አገልጋይ ሆኖ፣ ዕድሜው 18 ተብሎ ተጽፏል። በእንግሊዝ አገር በኖርፎክ፣ እርሷም ሂንግሃም በተባለችው መንደር የቤተ ክርስቲያን መዝገብ ደግሞ የተጠመቀው በኦገስት 24 ቀን 1622 ነው። ሁለቱ አይገጥሙም፤ በጥምቀቱ ብንሄድ ሲሳፈር ገና 15 አልሞላውም። ምናልባት ለመሳፈር ሲል ዕድሜ ጨምሮ ይሆናል፤ አጥኚዎቹ ግን ከዕድሜው ይልቅ መንደሩን፣ ሙያውንና ወንድሞቹን አይተው አንድ ሰው ነው ብለዋል። በዚያች ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከ1919 ጀምሮ የፕሬዚዳንቱ የነሐስ ሐውልት ቆሟል።