ሪውማቲክ የልብ ሕመም፦ ከጉሮሮ ተነስቶ ቫልቭ ላይ የሚያርፍ በሽታ

ሪውማቲክ የልብ ሕመም በልጅነት ከያዘ የቶንሲል ሕመም ይነሳና ከዓመታት በኋላ የልብን ቫልቮች፣ ማለትም የደሙን መተላለፊያ በሮች፣ አወፍሮና አጣብቆ የሚተው በሽታ ነው። በበለጸጉ አገሮች ብዙም አይታይም። በኢትዮጵያ ግን ወጣቶችን በልብ ድካም ሆስፒታል ከሚያስተኙት ዋነኞቹ ሕመሞች አንዱ ነው። ጅማ ላይ ምንም ምልክት ያልነበራቸው ተማሪዎች በልብ አልትራሳውንድ ሲታዩ ከ1000 ልጆች 31 ያህሉ የበሽታው ምልክት ተገኝቶባቸዋል፤ ውጤቱ የታተመው በ2015 እ.ኤ.አ. ነው።

ጉዳቱ የት ላይ እንደሚደርስ ለመረዳት የደሙን መንገድ መከተል ይበጃል። የአዋቂ ሰው ልብ ጡጫውን ያህላል፣ ከ250 እስከ 350 ግራም ይመዝናል። ሁለት ደም ተቀባይ ክፍሎች ከላይ፣ ሁለት ደም ገፊ ክፍሎች ከታች አሉት። ሰውነትን ዞሮ ኦክስጅን ያነሰው ደም ወደ ቀኙ የላይኛው ክፍል ይገባል፣ ወደ ታችኛው ይወርዳል፣ ከዚያ ወደ ሳንባ ይገፋል። ሳንባ ውስጥ ኦክስጅን ተቀብሎ በግራው የላይኛው ክፍል በኩል ይመለስና የግራው የታችኛው ክፍል አኦርታ በሚባለው ትልቅ ቧንቧ ወደ መላ ሰውነት ይረጨዋል። ይህ ክፍል ከባድ ሥራ ስላለበት ግድግዳው ከቀኙ ሦስት እጥፍ ያህል ይወፍራል። በአንድ ምት 70 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ በደቂቃ 5 ሊትር ያህል ደም ይገፋል። ደም ቅዳ እና ደም መልስ የሚሉት ስሞች የሚያመለክቱት አቅጣጫን እንጂ የደሙን ዓይነት አይደለም፤ ወደ ሳንባ የሚሄደው ቧንቧ ኦክስጅን ያነሰው ደም ቢሸከምም ከልብ ቀድቶ ስለሚወስድ ደም ቅዳ ነው።

ደሙ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያደርጉት አራት ቫልቮች ናቸው። ሦስቱ ሦስት ሦስት ክንፍ አላቸው፤ በግራዎቹ ክፍሎች መካከል ያለው ሚትራል ብቻ ሁለት ክንፍ አለው። ሪውማቲክ የልብ ሕመም ከሁሉ አብልጦ የሚያጠቃው ይህን ሚትራል ነው፣ ቀጥሎ የአኦርታን ቫልቭ።

የሕመሙ መነሻ ስትሬፕቶኮከስ የሚባል ባክቴሪያ በጉሮሮ ላይ የሚፈጥረው ቁስለት ነው። ብዙ ጊዜ የሚይዛቸው ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉትን ልጆች ሲሆን ብዙ ሰው በጠባብ ቤት ተፋፍጎ በሚኖርበት ቦታ በቀላሉ ይዛመታል። ሰውነት ባክቴሪያውን ለመዋጋት የሚያመርተው መከላከያ የባክቴሪያውን አካል ከልብ ሥጋ መለየት ይሳነዋል። ስለዚህ ጉሮሮው ከዳነ ከሁለት ወይም ሦስት ሳምንት በኋላ ትኩሳት ይነሳል፣ ጉልበት ያብጣል፣ እሱ ሲሻለው ቁርጭምጭሚት ወይም ክርን ይተካል። አንዳንድ ልጅ እጁና ፊቱ ያለፈቃዱ ይወራጭበታል። እዚህ ላይ ብዙ ወላጅ ይሳሳታል። የመገጣጠሚያው ሕመም በአስፕሪን ቶሎ ይለቃልና ልጁ የዳነ ይመስላል፤ ቫልቩ ላይ የተጀመረው ቁስል ግን ጠባሳ ሆኖ ይቀራል፣ ባክቴሪያው ጉሮሮን በያዘ ቁጥርም ይብሳል።

የጉሮሮው ሕመም በጀመረ በ9 ቀን ውስጥ ተገቢው መድኃኒት ከተወሰደ ይህ ሁሉ ይቀራል። መድኃኒቱ አንድ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ ወይም 10 ቀን ሙሉ የሚዋጥ ፔኒሲሊን ወይም አሞክሲሲሊን ነው። በሦስተኛው ቀን ተሻለኝ ብሎ ማቋረጥ ባክቴሪያውን በጉሮሮ ማስቀረት ነው። እንጥል ማስቆረጥ ደግሞ ባክቴሪያውን አይነካውም፤ ደም መፍሰስና ተጨማሪ ኢንፌክሽን ያመጣል እንጂ ልብን አያድንም።

የጠባሳው ውጤት ሁለት መልክ አለው። ክንፎቹ ተጣብቀው ቫልቩ ሊጠብ ይችላል፣ ወይም ተሸብሽበው መግጠም ሲያቅታቸው ያፈሳል፤ ብዙ ጊዜ ሁለቱም አብረው ይመጣሉ። ጤነኛ ሚትራል ቫልቭ ከ4 እስከ 6 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይከፈታል፣ 1.5 እና ከዚያ በታች ሲደርስ ጠባብነቱ ከባድ ይባላል። ያኔ ደሙ ወደ ሳንባ ይከማቻል፤ ዳገት ሲወጡ መተንፈስ ያቅታል፣ ሌሊት ትራስ ደርቦ መተኛት ይመጣል፣ እግር ያብጣል። የተወጠረው የላይኛው ክፍል ምቱን ሲያዛባ ውስጡ ደም ይረጋል፣ የረጋው ደም ወደ አንጎል ሲሄድም የ25 ዓመት ወጣት በስትሮክ ሊወድቅ ይችላል። ብዙ ሴቶች መታመማቸውን የሚያውቁት በእርግዝና ነው፤ የደም መጠን ከ40 እስከ 50 በመቶ ስለሚጨምር ጠባቡ ቫልቭ ያንን ሁሉ ማሳለፍ አይችልም። የቫልቭ ሕመም እንዳለባት የምታውቅ ሴት ከማርገዟ በፊት የልብ ሐኪም ማየት ይኖርባታል።

የተበላሸ ቫልቭን መድኃኒት አያስተካክለውም። ክንፎቹ እምብዛም ካልደነደኑ በብሽሽት በኩል በሚገባ ፊኛ ይከፈታል፤ አለዚያ በቀዶ ሕክምና ይጠገናል ወይም ይቀየራል። የብረት ቫልቭ ረጅም ዘመን ያገለግላል፣ ግን ዕድሜ ልክ ዋርፋሪን የሚባል ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት ያስፈልገዋል። ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ደሙን በየጊዜው ይመረመራል። ጎመን አይከለከልም፣ የሚበላው መጠን ግን ከሳምንት ሳምንት ብዙ መዋዠቅ የለበትም፤ በጎመን ያለው ቫይታሚን ኬ የመድኃኒቱን ኃይል ይቀንሳል። ዋርፋሪን ፅንስንም ስለሚጎዳ ለወጣት ሴት የቫልቭ ዓይነት መምረጥ ከባድ ውሳኔ ነው። ከእንስሳት የሚሠራው ቫልቭ ዋርፋሪንን ዕድሜ ልክ አይጠይቅም፣ በወጣት ሰው ላይ ግን ቶሎ ያረጃል።

ከጥቂት አሥርት ዓመታት በፊት ይህ ሕክምና ለኢትዮጵያውያን ሕፃናት የሚገኘው ውጭ አገር ነበር። ከደረሱላቸው ቦታዎች አንዱ በእስራኤል ሆሎን የሚገኘው የዎልፍሰን ሆስፒታል ነው። ዶክተር በላይ አበጋዝ የመሠረቱት የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ድርጅት ባደረገው ጥረት በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልብ ማዕከል በ2009 እ.ኤ.አ. ተከፈተ። የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች በ2015 እ.ኤ.አ. ያጸደቁት በሽታውን የማጥፋት ሰነድም የአዲስ አበባን ስም ይዟል። ማዕከል መኖሩ ትልቅ ነገር ነው፤ ሆኖም ቀዶ ሕክምናን የሚጠብቀውን ሰልፍ የሚያሳጥረው አንዴ የታመመ ሰው ጉሮሮው ዳግም በባክቴሪያው እንዳይያዝ በየጤና ጣቢያው የሚሰጠው መርፌ ነው።

መርፌው ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ነው፦ ለአዋቂና ከፍ ላለ ልጅ 1.2 ሚሊዮን ዩኒት፣ ለትንሽ ልጅ 600,000፣ በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ። ዱቄቱ ሲበጠበጥ ስለሚወፍር ቀጭን መርፌን ይደፍናል፤ 21 ቁጥር መርፌ ይመረጣል። በቂጥ ወይም በጭን ጡንቻ ውስጥ ቀስ ተብሎ ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ይሰጣል፣ በምንም መንገድ በደም ሥር አይሰጥም። ሕመሙን ለማቅለል በሊዶካይን መበጥበጥ ይቻላል። አንዳንድ የጤና ባለሙያዎች አለርጂን ፈርተው መርፌውን መስጠት ይተዋሉ። ከባድ አለርጂ ግን በጣም ጥቂት ሰው ላይ የሚታይ ነው፤ የአለርጂ ማስታገሻውን አድሬናሊን አጠገብ አዘጋጅቶ በሽተኛውን ከመርፌው በኋላ ለተወሰነ ጊዜ እያዩ ማቆየት መልሱ ነው። ቫልቩ እጅግ ተጎድቶ ልቡ የደከመ በሽተኛ ግን መርፌውን ተከትሎ ራሱን ሊስት ስለሚችል ሐኪሙ በቀን ሁለት ጊዜ በሚዋጥ ፔኒሲሊን ሊተካለት ይችላል።

ባክቴሪያው እስከ ዛሬ ፔኒሲሊንን አልተላመደም፣ ስለዚህ መድኃኒቱ የሚከሽፈው ቀጠሮ ሲያልፍ ነው። ትኩሳቱ ልቡን ያልነካው ልጅ ከመጨረሻው ሕመም ጀምሮ ቢያንስ 5 ዓመት ወይም እስከ 21 ዓመቱ፣ ከሁለቱ የሚረዝመውን ይወጋል። ቫልቩ የተጎዳበት እስከ 40 ዓመቱ፣ አንዳንዴም ዕድሜ ልኩን ይቀጥላል። ቫልቭ የተቀየረለትም አያቋርጥም፤ አዲሱ ቫልቭ ከበሽታው ቢያመልጥ እንኳ የቀሩት ሦስቱ የተፈጥሮ ቫልቮች ናቸው።