«አባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል»፦ ግንዱ ከየት መጣ?

ይሄን አባባል ብዙ ጊዜ የምንለው ለራሱ መጠጊያ ሳይኖረው ሌላ ጣጣ ጎትቶ ለሚመጣ ሰው ነው። ሰው ቤት ተጠግቶ የሚኖር ልጅ ጓደኛውን ጭምር ይዞ ሲመጣ፣ ወይ የራሱን እዳ መክፈል ያቃተው ሰው ለሌላ ዋስ ልሁን ሲል፣ «አባይ ማደሪያ የለው...» ይባልና ቀሪውን ሰሚው ራሱ ይጨርሰዋል። ሌላው አጠቃቀም ቁጭት ነው፣ ወንዙ ከኛ ተነስቶ የኛን አፈር ተሸክሞ እኛ ጋ ሳያድር ይሄዳል የሚል፤ የህዳሴ ግድብ ከመሰራቱ በፊት በዚህ በኩል ስንቱ አንጎራጉሮበታል።

እኔን ሁሌ የሚገርመኝ ግን ግንዱ ነው። አባባሉን ያወጣው ሰው ውሃ ይዞ አላለም፣ ድንጋይ ይዞ አላለም፣ ግንድ አለ። ይሄ እኮ ወንዙን በደንብ ያየ ሰው ንግግር ነው፣ ያውም ክረምት ላይ፣ ምክንያቱም በበጋ አባይ ጎድሎ ድንጋዩ ሁላ ይታያል፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ግን ደፍርሶ ዛፍ ከነስሩ ነቅሎ ይዞ ይወርዳል። ድልድይ ባልነበረበት ዘመን ደግሞ ክረምት ከገባ ጎጃምና ሸዋ ይለያያሉ፣ መንገደኛው ዳር ላይ ቆሞ ውሃው እስኪጎድል መጠበቅ ነው፣ እና እኔ እንደሚመስለኝ እንዲህ ያለ አባባል የሚወጣው ከእንደዛ አይነት ሰው አፍ ነው፣ ራሱም የሚያድርበት ያጣ፣ ከፊቱ ግንድ ሲያልፍ እያየ የቆመ። ይዞራል ያለውም ልክ ነው፣ አባይ ከጣና ወጥቶ ወደ ደቡብ ምስራቅ ይሄድና ጎጃምን ከቦ ነው ወደ ምዕራብ የሚታጠፈው።

አሁን ግንዱ ከየት መጣ የሚለውን እንይ፣ እዚህ ጋ ነው ነገሩ የሚጥመው። ብዙዎቻችን ከሰቀላ ከግሽ አባይ የተነሳ ይመስለናል። ግን ከግሽ አባይ ተነስቶ ጣና የሚገባው ወንዝ፣ ግልገል አባይ፣ ይዞት የሚመጣው አፈር አብዛኛው ጣና ሲገባ እዛው ይቀራል፣ ወንዙ ሐይቁ ውስጥ በሚገባበት ቦታ የተከመረው ደለል ራሱን የቻለ መሬት ሆኗል። ማለትም አባይ አንድ ማደሪያ ድሮም ነበረው፣ ጣና። ከባህር ዳር የሚወጣው ውሃ ደግሞ ሱዳን ድንበር ከሚደርሰው ውስጥ አስር በመቶ እንኳን አይሞላም። የቀረው ከበሽሎ፣ ከጃማ፣ ከሙገር፣ ከጉደር፣ ከደዴሳ፣ ከዳቡስ እና ከሌሎቹ ገባሮች ነው የሚመጣው፣ ስለዚህ ሸለቆው ውስጥ ያ መንገደኛ ያየው ግንድ የወሎ ሊሆን ይችላል፣ የሸዋም የወለጋም ሊሆን ይችላል፣ የሆነ ሰው ማሳ ዳር ላይ የቆመ ዛፍ ነበር፣ ዳገቱ ላይ ያለው ደን ሲመነጠር ውሃው የሚይዘው አጥቶ በአንዴ ወረደና ጠራርጎ ወሰደው።

ከግንዱ ጋ የሚሄደው አፈር ደግሞ በአመት ከ100 ሚሊዮን ቶን በላይ ነው። ይሄ አፈር ነው የግብፅን ማሳ ለሺህ አመታት ያበላው፣ የአስዋን ግድብ በ1970 እ.ኤ.አ ካለቀ በኋላ ደለሉ እዛ ግድብ ውስጥ ስለሚቀር የዛ አገር ገበሬ ማዳበሪያ ላይ ጥገኛ ሆነ። ሱዳን ውስጥ ሮሰሪስ ግድብም በደለል እየተሞላ ብዙ የመያዝ አቅሙን አጥቷል። እስቲ አስቡት፣ በሽሎ ዳር አንድ ገበሬ ተዳፋት መሬቱን ያለ እርከን ሲያርስ ነገሩ የሱ ብቻ ይመስለዋል፣ ግን የማያውቀውና ቋንቋውን የማይሰማ ሰው መብራት እና እርሻ ውስጥ ገብቷል። በየማሳው የሚነሰነሰው ማዳበሪያም በጎርፍ ጣና ይገባና ሐይቁን የሚሸፍነውን አረም፣ እምቦጩን፣ ያፋፋዋል፣ ከዛ አሳ አጥማጁ ጀልባው አልሄድ ይለዋል።

ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ግድቡ ሲመረቅ «አባይ ማደሪያ አገኘ» ተባለ፣ እኔም በጣም ደስ ብሎኛል፣ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ የሚያሳድር ቤት ቀላል አይደለም። ግን ማደሪያ ሲያገኝ የያዘውንም ይዞ ነው የሚያድረው። ድሮ አፈሩ ሱዳን ሄዶ ነበር የሚከማቸው፣ አሁን ጉባ ላይ እኛው ቤት ነው የሚወርደው። በጥርና በየካቲት ገበሬው እየወጣ የሚሰራውን እርከን የግድቡ ስራ ሌላ ግማሽ አድርጌ የማየው ለዚህ ነው፣ ኮንክሪቱ ያለቀ ቢሆንም ይሄኛው በየአመቱ አዲስ ነው።

ክረምት ላይ በሆነ ወንዝ ድልድይ የምታልፉ ከሆነ ሁለት ገባሮች የሚገናኙበትን ቦታ እዩት፣ አንዱ ደፍርሶ ሌላው ጠራ ብሎ ለትንሽ ጊዜ ጎን ለጎን ይሄዳሉ። የደፈረሰው በየት በኩል እንደመጣ ጠይቁና ዳገቱን ቀና ብላችሁ ተመልከቱት፣ ዛፍ አለው የለውም ከዛው ይታወቃል።