ዌዘራይዜሽን ምንድን ነው? ጣሪያው የሚያፈስ ቤትስ ለምን ይመለሳል?

አገር ቤት የጭቃ ቤት ግድግዳ ሲሰነጣጠቅ ጭድና ጭቃ ተቦክቶ ይመረጋል። መራጊው ግን እጁን ጭቃው ውስጥ ከመክተቱ በፊት ቀና ብሎ ጣሪያውን ያያል፤ ጣሪያው የሚያፈስ ከሆነ የመረገው ሁሉ በመጀመሪያው ዝናብ ታጥቦ ይወርዳልና። በአሜሪካ ዌዘራይዜሽን የሚባለው ሥራ ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም። ቤትን ለብርድና ለሙቀት መምረግ ነው። ትልቁ ችግሩም ያው የጣሪያው ችግር ነው።

ቃሉ የሚያመለክተው አንድ ቤት በጥቂት ኃይል እንዲሞቅና እንዲቀዘቅዝ ማደስን ነው። በጣሪያና በኮርኒስ መካከል ያለው ክፍተት ሙቀት በሚይዝ ነገር ይሞላል፣ የበርና የመስኮት ዙሪያ ይደፈናል፣ ያረጀ ማሞቂያ ይጠገናል ወይም ይቀየራል። በአሜሪካ መኖሪያ ቤቶች ከሚፈጀው ኃይል ግማሽ ያህሉ ለማሞቂያና ለማቀዝቀዣ ስለሚውል፣ ቀዳዳ መድፈን ወርኃዊ ሂሳብንም የሚቃጠለውን ጋዝም አብሮ ይቀንሳል።

ሥራው የሚጀምረው በምርመራ ነው። ባለሙያው የፊት ለፊቱን በር ከፍቶ በበሩ ልክ የሚወጠር ሸራ ይገጥማል፤ ከሸራው ላይ ትልቅ ማራገቢያ አለ። ማራገቢያው የቤቱን አየር ወደ ውጭ ሲስብ፣ የውጭው አየር ባገኘው ቀዳዳ ሁሉ ወደ ውስጥ ይገባል። ያን ጊዜ እጅን ወደ ኤሌክትሪክ ሶኬቱ ማስጠጋት ይበቃል፤ ከግድግዳው ውስጥ ንፋስ ይመጣል። ከእቃ ማጠቢያው ሥር፣ ቧንቧው ግድግዳውን በሚበሳበት ቦታ፣ ቀጭን ጭስ ሲያስጠጉ እንደ ዕጣን ቀጥ ብሎ መውጣቱን ትቶ ወደ ጎን ይታጠፋል። ማሞቂያው ቀን ከሌት እየሠራ ጋቢ ደርቦ የከረመ ቤተሰብ ብርዱ በየት በኩል እንደሚገባ በዓይኑ የሚያየው በዚህ ሰዓት ነው።

ክፍተቱን ለመሙላት በብዛት ከሚሠራባቸው ነገሮች አንዱ የተፈጨ አሮጌ ጋዜጣ ነው። እሳት በቀላሉ እንዳይዘው የቦሮን ጨው ይቀላቀልበትና በወፍራም ቱቦ እየተነፋ ኮርኒሱ ላይ ይከመራል። «ለአካባቢ ተስማሚ እድሳት» ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ጣሪያ ላይ የሚያብረቀርቀውን የፀሐይ ኃይል ሰሌዳ ነው። ይህ ግራጫ የጋዜጣ ብናኝ ግን ማንም ሳያየው ሥራውን ይሠራል።

የአሜሪካ መንግሥት ለዝቅተኛ ገቢ ቤተሰቦች ይህን ሥራ በነፃ የሚያሠራበት ፕሮግራም አለው። የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው፤ መነሻው በ1973 የነዳጅ ዋጋ ንሮ ድሃው ቤቱን ማሞቅ ማቃቱ ነበር። እስከ ዛሬ ከ7 ሚሊዮን በላይ ቤቶች ተሠርተውበታል። ገቢው ከፌዴራሉ የድህነት መስመር እጥፍ የማይበልጥ ቤተሰብ ማመልከት ይችላል፤ ተከራይም ቢሆን የባለቤቱ ፈቃድ እስካለ ድረስ አይከለከልም። በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ታክሲ እየነዱ ወይም አረጋውያንን እየተንከባከቡ ልጆች የሚያሳድጉ ብዙ ወገኖቻችን በዚህ የገቢ ወሰን ውስጥ ሊገኙ ይችላሉና፣ ጉዳዩ ለእኛም ሩቅ አይደለም።

አሁን ወደ ጣሪያው እንመለስ። መርማሪው መጥቶ ጣሪያው እያፈሰ፣ ግድግዳው ሻጋታ አውጥቶ፣ ወይም የኤሌክትሪክ መስመሩ ከመቶ ዓመት በፊት የተዘረጋና መሸፈኛው የረገፈ ሆኖ ካገኘው ሥራውን አይጀምርም። ማመልከቻው «ለጊዜው ተላልፏል» ተብሎ ይመለሳል። ይህ ጭካኔ አይደለም። እርጥብ ጣሪያ ሥር የተነፋ ጋዜጣ ይበሰብሳል። በአሮጌ ሽቦ ላይ የተከመረ መሸፈኛ ሙቀቱን አፍኖ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። የጋዝ ማሞቂያው የተበላሸበትን ቤት አጥብቆ መድፈንም መርዛማውን ጭስ ከነዋሪዎቹ ጋር መቆለፍ ነው። የፕሮግራሙ ገንዘብ ደግሞ ለኃይል ቁጠባ የተመደበ ስለሆነ፣ ከትንሽ ጥገና አልፎ ሙሉ ጣሪያ ለመቀየር አይፈቅድም።

ውጤቱ ግን የሚያሳዝን ነው። ቤቱ ይበልጥ በተጎዳ ቁጥር እርዳታውን የማግኘት ዕድሉ ይቀንሳል። ሻል ያለ ቤት ያለው ድሃ ይሠራለታል፤ ጣሪያው የሚያፈስበት ባልቴት ይመለሳሉ። ለፕሮግራሙ በ2009 ወደ 5 ቢሊዮን ዶላር፣ በ2021 ደግሞ 3.5 ቢሊዮን ዶላር ሲፈቀድለት እንኳ ይህ በር አልተከፈተም። ኮንግረሱ እንዲህ ያሉ ቤቶችን ለሥራው ብቁ ለማድረግ ብቻ የሚውል ገንዘብ የመደበው በ2022 ነው፤ እሱም በመላ አገሪቱ 15 ሚሊዮን ዶላር ነበር።

የግል በጎ አድራጎት ገንዘብ ትርጉም የሚኖረው እዚህ ላይ ነው። በአሜሪካ ሕግ የግል ፋውንዴሽን ከሀብቱ 5 በመቶ ያህሉን በየዓመቱ ለበጎ ዓላማ ማውጣት ይጠበቅበታል፤ ለምን እንደሚያውለው ግን በአብዛኛው የሚወስነው ራሱ ነው። ለጣሪያ፣ ለሽቦ፣ ሻጋታ ለማስወገድ ሊሰጥ ይችላል። የመንግሥት ደንብ የሚያቆመውን ገንዘብ እሱ ያሻግረዋል።

በሜሪላንድ ያለችውን ባልቲሞርን እንውሰድ። ከተማዋ ግድግዳ ለግድግዳ ተያይዘው በተሠሩ፣ ደጃፋቸው ነጭ የእብነ በረድ ደረጃ ባላቸው የጡብ ቤቶች ትታወቃለች። የብዙዎቹ ጣሪያ ጠፍጣፋ ስለሆነ ውኃ ይተኛበታል። በ1986 ልጆቻቸው በግድግዳ ቀለም ውስጥ ባለ እርሳስ በተባለ መርዛማ ብረት የተመረዙባቸው ወላጆች እዚያ አንድ ንቅናቄ ጀመሩ፤ እሱም እያደገ ዛሬ ግሪን ኤንድ ሄልዚ ሆምስ ኢኒሺየቲቭ የሚባለው ድርጅት ሆኗል። ድርጅቱ የያዘው ሐሳብ ቀላል ነው። አንዱ ፕሮግራም ለእርሳሱ፣ ሌላው ለብርዱ፣ ሦስተኛው ለልጁ አስም ለየብቻ አንድ ቤት ከሚመላለሱ፣ የሁሉም ገንዘብ ተጣምሮ ቤቱ አንድ ጊዜ በወጉ ይሠራ የሚል ነው። የተበላሸውን መስኮት መቀየር ልጁን ከመርዙ፣ ቤቱንም ከብርዱ በአንድ ጊዜ ያድናልና።

በዚያችው ከተማ በ2015 ዋይንበርግ ፋውንዴሽንን ጨምሮ የአካባቢው ፋውንዴሽኖች ተባብረው የአረጋውያንን ቤት የሚያስጠግን ፕሮግራም ደግፈዋል። እኔን የማረከኝ ገንዘቡ የሚከፈለው ለቆርቆሮና ለምስማር ብቻ አለመሆኑ ነው። አዛውንቷ አጠገብ ተቀምጦ ቅጹን የሚሞላ፣ የጠፋውን የቤት ካርታ የሚያፈላልግ፣ ከአምስት መሥሪያ ቤት ጋር የሚደዋወል ሰውም ደመወዝ የሚያገኘው ከእንዲህ ያለው ድጋፍ ነው። አምስት ማመልከቻ ብቻቸውን መሙላት ለማይችሉ እናት፣ ይህ ሰው ከጣሪያው አያንስም።

በአገራችንም በየክረምቱ የአቅመ ደካሞች ቤት በበጎ ፈቃደኞች ጉልበትና በባለሀብቶች ድጋፍ ይታደሳል። ልዩነቱ እዚያ ማሞቂያ የሚባል ጣጣ አለመኖሩ ነው፤ ቅደም ተከተሉ ግን ያው ነው፦ መጀመሪያ ጣሪያው።

የለጋሽ ገንዘብ የመንግሥትን ቦታ ይተካ ማለቴ አይደለም። የፋውንዴሽኖች ኪስ ከሚሊዮኖች ቤት አንጻር ትንሽ ነው፤ ዛሬ የደገፉትን ነገ ሊተዉትም ይችላሉ። ስለዚህም ነው ትንሹ ገንዘብ ማንም ወደማይከፍልበት ቦታ እንዲሄድ አጥብቄ የምሻው። የፀሐይ ኃይል ሰሌዳ ለምርቃትና ለፎቶ ያምራል፤ በአዲስ ክዳን አጠገብ ቆሞ ፎቶ የሚነሳ ለጋሽ ግን ብዙ አይታይም። አንድ ጣሪያ ሲጠገን ግን ቆሞ የነበረው የመንግሥት ገንዘብ ተከትሎ ይገባል፤ አንዱ የለጋሽ ዶላር ሌሎቹን ይጎትታል።

አሜሪካ ያላችሁ፣ አመልክታችሁ የተመለሰባችሁ ካላችሁ፣ ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቁ። ቤቱ በምን ምክንያት እንደተላለፈና ምን ቢስተካከል ሥራው እንደሚጀመር የሚገልጽ ወረቀት ሊሰጣችሁ ይገባል። ቀጥሎ ቤት ወደሚጠግን የበጎ አድራጎት ድርጅት ይዛችሁ የምትሄዱት ያንን ወረቀት ነው።