ዲም ሰም ምንድን ነው? ሰሙ ምግቡ፣ ወርቁ ሻዩ

ቻይና፣ ጓንግዙ ከተማ ለዕቃ የሚመላለስ ሰው በዘመድ ወይ በጎረቤት ካላችሁ ይቺን ወሬ ሳትሰሙ አትቀሩም፦ "አቅራቢው ጠዋት ሻይ ልጋብዝህ አለኝ፣ ሄድኩ፣ ሦስት ሰዓት ሙሉ ሲያበላኝ ዋለ"። ያ ሻይ ነው ዲም ሰም። እኔም መጀመሪያ የሰማሁት እንደዛ ነው። በኋላ ራሴ ጓንግዙ ላይ፣ ከዛም ሆንግ ኮንግ ውስጥ ከፍ ካለ ሬስቶራንት ገብቼ ስቀመጥ ነገሩ ሌላ እንደሆነ ገባኝ፣ ደግሞ ብዙ የኛ ሰው እዛ ድረስ ሄዶ ሳይገባው በልቶ እንደሚመለስ ስላየሁ ነው ቁጭ ብዬ የምጽፈው።

ዲም ሰም የአንድ ምግብ ስም አይደለም። ብዙ ሰው በሊጥ የተጠቀለለችውን ትንሽ ነገር ብቻ ይመስለዋል፣ እሷ አንዷ ናት እንጂ ዲም ሰም ማለት ከሻይ ጋር የሚቀርቡ ትናንሽ ምግቦች ሁሉ የጋራ ስማቸው ነው፣ በእንፋሎት የበሰለውም፣ የተጠበሰውም፣ ኦቨን የገባውም፣ ጨው ያለውም ስኳር ያለውም። ቃሉ የካንቶኖች ነው፣ ማለትም የደቡብ ቻይናዋ የጓንግዶንግ ክፍለ ሀገርና የሆንግ ኮንግ ሰዎች። "ዲም" መንካት ነው፣ "ሰም" ደግሞ ልብ፣ አንድ ላይ ልብን ነካ የሚያደርግ እንደማለት ነው። በአማርኛ ግን ትርጉሙን ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፣ እኛ ጋ "የቡና ቁርስ" የሚባለው ነው። ቡና ሲፈላ ቆሎው፣ ፈንዲሻው፣ ዳቦው ይቀርባል አይደል? ግን ማንም ጎረቤቱን "ነይ ፈንዲሻ ብዪ" ብሎ አይጠራም፣ "ነይ ቡና ጠጪ" ነው የሚላት። እነሱም እንደዛው ናቸው፣ "ያም ቻ" ነው የሚሉት፣ ቃል በቃል ሻይ መጠጣት። እንደውም በካንቶንኛ ጠዋት ሰው ሲገናኝ "ሻይ ጠጣህ ወይ?" ብሎ ሰላምታ መስጠት የቆየ ልማድ ነው።

ስለዚህ በእኛው በሰምና ወርቅ ካየነው ዲም ሰም ላይ ሰሙ ምግቡ ነው፣ ወርቁ ሻዩ። ይሄን ሳይዙ የገቡ ሰዎች ናቸው "ምግቡ ትንሽ ትንሽ ነው፣ አያጠግብም፣ ዋናው ምግብ መቼ ነው የሚመጣው" የሚሉት። ዋናው ምግብ የሚባል ነገር የለም! የድሮዎቹ የጓንግዙ ሻይ ቤቶች ደንበኛ ክዳን ባለው ስኒ አንድ ሻይና ሁለት ፍሬ ምግብ አዝዞ ጋዜጣውን እያነበበ፣ ከጓደኛው ጋር እያወራ ጠዋቱን የሚያሳልፍ ሰው ነበር፣ እስካሁንም ለዚህ "አንድ ስኒ፣ ሁለት ፍሬ" የሚል አባባል አላቸው። ጓንግዙ ውስጥ ታኦ ታኦ ጁ የሚባለው ቤት ከ1880 ጀምሮ ያለ ነው፣ ሆንግ ኮንግ ሴንትራል የሚባለው ሰፈር ደግሞ ሉክ ዩ አለ፣ እሱ 1933 የተከፈተ ሆኖ እንጨቱና ማራገቢያው ሁሉ የድሮውን ዘመን እንደያዘ ነው (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)።

ሰዓቱም ከዚሁ ነው የሚመጣው። የሻይ ነገር ስለሆነ በአብዛኛው የጠዋትና የቀን ነው፣ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 1 ወይ 2 ሰዓት ጀምሮ እስከ ቀኑ 9 ሰዓት አካባቢ። ትላልቅ ሆቴሎች ውስጥ ያሉት ቤቶች ደግሞ ብዙዎቹ የሚያቀርቡት ለምሳ ብቻ ነው፣ ማታ ሄዳችሁ ዲም ሰም ብትሉ ሌላ ሜኑ ነው የሚሰጧችሁ። ቅዳሜና እሁድ ቤተሰቡ በሙሉ ከአያት እስከ ልጅ ልጅ ክብ ጠረጴዛ ላይ ስለሚሰበሰብ ቦታ ቀድሞ መያዝ ያስፈልጋል።

እሺ፣ ከፍ ያለው ሬስቶራንትና ተራው በምን ይለያያል? መጀመሪያ የሚለየው ሻዩ ላይ ነው። እንደተቀመጣችሁ፣ ምግብ ገና ሳታዩ፣ "ምን ሻይ?" ትባላላችሁ። እዚህ ጋ "ማንኛውም" ብሎ ማለፍ ይቆጫል። ፑ ኤር አለ፣ ጠቆር ያለ፣ የአፈር ሽታ ያለው፣ ቅባት ያለው ምግብ ሲበላ አፍን የሚያጥብ፣ ሽማግሌዎቹ የሚወዱት እሱን ነው። ቲ ጓን ዪን አለ፣ ቀለል ብሎ ሽታው አበባ አበባ የሚል፣ ጃስሚን አለ፣ የክሪሳንተምም አበባ አለ። ደህና ቤት ውስጥ የሻዩ ዝርዝር ራሱን የቻለ ገጽ ነው፣ ቅጠሉ መጀመሪያ በፈላ ውሃ ታጥቦ ያ ውሃ ይደፋል፣ የሚጠጣው ከሱ ቀጥሎ ያለው ነው። በተራው ሻይ ቤት ሰዉ ራሱ ስኒውንና ቾፕስቲኩን በሙቅ ሻይ ያለቀልቃል፣ ከፍ ባለው ቤት ይሄን ማድረግ የተለመደ አይደለም።

ሻይ ስትቀዱ መጀመሪያ ለሰው ነው፣ ለታላቅ ሰው ደግሞ ከሁሉ በፊት፣ የራስ መጨረሻ። ሰው ሲቀዳላችሁ ወሬያችሁን ሳታቋርጡ ሁለት ጣት አጠፍ አድርጋችሁ ጠረጴዛውን ቀስ ብላችሁ መታ መታ ማድረግ "አመሰግናለሁ" ማለት ነው። አመጣጡን ሲያወሩት፣ ቺየንሎንግ የሚባለው ንጉሠ ነገሥት ማንነቱን ደብቆ ሲዞር ለአሽከሩ ሻይ ቀዳለት፣ አሽከሩ ተንበርክኮ እንዳይሰግድ ንጉሡ ሊታወቁበት ነው፣ እንዳይተወው ደግሞ ነውር ሆነበት፣ ስለዚህ በጣቶቹ ሰገደ ይላሉ። እውነት ይሁን ተረት፣ ምልክቱ ግን ዛሬም በየጠረጴዛው አለ። እኔ መጀመሪያ ቀን አጠገቤ ያሉ አዛውንት ሲያደርጉት አይቼ ዝም ብዬ አስከተልኩ፣ ፊታቸው ላይ ያየሁት ደስታ፣ የውጭ ሀገር ሰው ስንሰናበት በሁለት እጁ ሲጨብጠን እኛ ፊት ላይ የሚታየው ዓይነት ነው። ደግሞ ማንቆርቆሪያው ሲያልቅ አስተናጋጅ መጥራት አያስፈልግም፣ ክዳኑን ከፈት አድርጎ ማስቀመጥ ነው፣ አይተው ውሃ ይጨምሩበታል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እንደሚባለው ሦስት ላይ አይቆምም እንጂ ሐሳቡ ያው ነው፣ ቅጠሉ አንድ፣ ውሃው እየተደጋገመ፣ ጨዋታው እየቀጠለ።

ሁለተኛው ልዩነት እጅ ነው፣ የሠሪው እጅ። ይሄን ለማየት ሃር ጋው የምትባለውን እዘዙ፣ የሽሪምፕ ናት። ሰዎቹ ራሳቸው አንድን ቤት የሚመዝኑት በሷ ነው። ሊጡ ከተራ ዱቄት አይደለም፣ ግሉተኑ (ሊጥን የሚያለጥጠው ነገር) ታጥቦ ከወጣለት የስንዴ ስታርች ነው፣ ትንሽ የካሳቫ ስታርች ይገባበትና በፈላ ውሃ ይለወሳል፣ ለዛ ነው በእንፋሎት ሲበስል ብርሃን የሚያሳልፈው። መዳመጫ እንኳን አይነካውም። ሠሪው ሰፊ፣ ስለት የሌለው፣ ዘይት የተቀባ ቢላ ይይዛል፣ የሊጧን እንክብል በቢላው ገላ ተጭኖ አንዴ ዞር ሲያደርገው ክብ ስስ ቅጠል ሆና ትወጣለች፣ ከዛ ሽሪምፑን መሀል ላይ አድርጎ በጣቱ ጫፍ ይሸነሽናታል፣ ልክ የቀሚስ ሽንሽን። ቢያንስ 7 ሽንሽን ይባላል፣ እጁ የተፈታ ሰው 10ም ከዛም በላይ ያወጣል። የቀርከሃዋ ማብሰያ ክዳን ሲነሳ እንፋሎቱ ፊታችሁን ይመታችኋል፣ ከዛ አራት ትናንሽ ነገሮች ታያላችሁ፣ ከነጩ ሊጥ ሥር የሽሪምፑ ሮዝ ቀለም እንደ ነጠላ ሥር እንዳለ ጥለት ይታያል። በቾፕስቲክ ስታነሷት መቀደድ የለባትም፣ ታች ላይ መጣበቅም የለባትም፣ ስትነከስ ደግሞ ሽሪምፑ ቀጭ ማለት አለበት። ጥሩ ቤት ስታዝዙ ነው የሚያበስላት፣ ቆማ ከቆየች ሊጧ ይደርቃል ወይ ይላቀቃል። እኔ ለዚህች አራት ፍሬ የተጨመረው ዋጋ ተገቢ ነው ባይ ነኝ፣ የሚከፈለው ለሽሪምፑ አይደለም፣ ዓመታት ለፈጀው እጅ ነው።

ሌሎቹን በአጭሩ፦ ሲው ማይ አናቷ ክፍት የሆነች የአሳማና የሽሪምፕ ናት፣ ቻር ሲው ባው ውስጡ ጣፈጥ ያለ የአሳማ ጥብስ የያዘ ነጭ ለስላሳ ዳቦ ነው፣ ቾንግ ፈን ከሩዝ የተሠራ ስስ ነገር ተጠቅልሎ ጣፋጭ ሶያ ሶስ የሚፈስበት፣ ሎ ማይ ጋይ ሩዝና ዶሮ በሎተስ ቅጠል ታሽጎ በእንፋሎት የበሰለ ሲሆን ቅጠሉ ሲፈታ የሚወጣው ሽታ በኮባ የተጋገረ ዳቦ ያስታውሳል፣ ዳን ታት የእንቁላል ኬክ ናት፣ ትኩሷን ነው መብላት። የዶሮ እግርም አለ፣ እነሱ በጣም ነው የሚወዱት፣ ካልፈለጋችሁ ግን ማንም አይቀየማችሁም።

አሁን ለኛ ሰው ዋናው ጉዳይ ላይ ልምጣ፣ አሳማ። ክርስቲያንም ሙስሊምም ብንሆን አብዛኞቻችን አንበላም፣ ዲም ሰም ውስጥ ደግሞ አሳማ በብዛት ይገባል። ችግሩ የሚታየው አይደለም፣ ስሙ ላይ ያለውን ትተዋላችሁ፣ የተደበቀው ነው። ሃር ጋው ራሷ የሽሪምፕ ተብላ ብዙ ጊዜ እንድትለሰልስ የአሳማ ሞራ ጣል ይደረግባታል። የዳን ታት ቂጣው በድሮው አሠራር በአሳማ ሞራ ነው። የነጭ ፍጁል ኬክ የሚሉት አትክልት ይመስላል፣ ውስጡ ግን የደረቀ የአሳማ ቋሊማ ተከትፎ ይገባል። ሎ ማይ ጋይ ውስጥም እንደዛው። ሽሪምፕም ቢሆን በሃይማኖት የማይበሉ ብዙ ናቸው፣ እነሱ የበሬ ሥጋ ያለበትን ቾንግ ፈን ይጠይቁ፣ እሱም ቢሆን ሞራው ተጠይቆ ነው። ከፍ ያለ ቤት የመግባት አንዱ ጥቅም እዚህ ጋ ነው፣ አስተናጋጁ ኩሽና ገብቶ ጠይቆ ይመለስላችኋል፣ ግርግር በበዛበት ቤት ግን ይሄን ማግኘት ከባድ ነው። በማንዳሪን "ዎ ቡ ቺ ዡ ሮው" ማለት አሳማ አልበላም ነው፣ ስልካችሁ ላይ በቻይና ፊደል አስጽፋችሁ ብታሳዩ ደግሞ ይበልጥ ይሻላል።

ለጾም? ይሄ ደስ ይላል፣ ምክንያቱም እነሱም ጾም ያውቃሉ። ቡድሂስቶቹ ከጨረቃ ወር በ1ኛውና በ15ኛው ቀን ከሥጋ የሚታቀቡ ብዙ አሉ፣ በካንቶንኛ "ጃይ" ይሉታል፣ በማንዳሪን "ዎ ቺ ሱ" ብትሏቸው ወዲያው ይገባቸዋል። የእንጉዳይና የአትክልት ጥቅልሎች አሉ፣ ባዶ ቾንግ ፈን አለ። ብቻ የተቀቀለ ጎመን ሲመጣ ላዩ ላይ የሚፈሰው ቡናማ ሶስ የኦይስተር፣ ማለትም ከባሕር እንስሳ የተሠራ ሊሆን ስለሚችል ቀድማችሁ "ያለ ሶስ ይሁን" በሏቸው።

ስለ ዝና ደግሞ አንድ ነገር። ሆንግ ኮንግ ፎር ሲዝንስ ሆቴል ውስጥ ያለው ሉንግ ኪንግ ሂን የተባለ ምግብ ቤት፣ ምግብ ቤቶችን በኮከብ የሚመዝነው ሚሽለን መጀመሪያ ለሆንግ ኮንግና ማካው ባወጣው የ2009 መመሪያ ላይ ሦስት ኮከብ አገኘ፣ ከቻይና ምግብ ቤቶች የመጀመሪያው ነበር። እዛ ዲም ሰም ይሠራ የነበረው ማክ ኳይ ፑይ ደግሞ በዛው በ2009 ሞንግ ኮክ ሰፈር ጥቂት ወንበር ያላት ጠባብ ቤት ቲም ሆ ዋን ብሎ ከፈተ፣ ብዙም ሳይቆይ ዋጋዋ ርካሽ ሆኖ ሳለ እሷም ኮከብ አገኘች። ስለዚህ ጣዕሙን ብቻ የፈለገ ሰው ወረፋ ቆሞ በትንሽ ገንዘብ ያገኘዋል። ውዱ ቤት የሚሰጣችሁ የማያጣድፍ ወንበር፣ ደህና ሻይ፣ ሰው ማነጋገር የሚቻልበት ፀጥታ ነው፣ ታላቅ ሰው ይዛችሁ ከሆነ ወይ ሥራ የምታወሩ ከሆነ እሱ ዋጋ አለው፣ ብቻችሁን ከሆናችሁ ግን ባትሄዱም ምንም አይቀርባችሁም።

ድሮ በጋሪ እየተገፋ ነበር የሚመጣው፣ እያያችሁ ታነሳላችሁ፣ አሁን ጋሪው በጣም እያነሰ ነው፣ ወረቀትና እርሳስ ይሰጣችሁና የፈለጋችሁት ላይ ምልክት ታደርጋላችሁ። ሁሉን አንዴ አትዘዙ፣ ለሁለት ሰው ሦስት አራት ዓይነት ይበቃል፣ ሲያልቅ ሌላ። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ጥንድ ቾፕስቲክ ካገኛችሁ አንዱ ከጋራው ለማንሻ ነው፣ አንዱ ለአፋችሁ፣ አታደባልቁት። ጋባዣችሁ በማንሻው ጥሩውን መርጦ ሳህናችሁ ላይ ሲያስቀምጥላችሁ እንደ ጉርሻ ቁጠሩት፣ እምቢ አይባልም።

ቢሉ ሲመጣ ያላዘዛችሁት የሚመስል መስመር ታያላችሁ፣ አትደንግጡ፣ ሻዩ በሰው ቁጥር ይታሰባል፣ መጀመሪያ የተቀመጠችው የኦቾሎኒ ወይ የአቻር ሳህንም ልትታሰብ ትችላለች፣ ሆንግ ኮንግ ላይ 10 በመቶ የአገልግሎት ይጨመራል። ከዛ ደግሞ "እኔ ልክፈል" "አይ እኔ" የሚለው ትግል ይጀመራል፣ ይሄን እንኳን ከኛ የሚያስተምረን የለም ብዬ ነበር። የኔ ጋባዥ "እጄን ልታጠብ" ብሎ ተነስቶ ሄደ፣ ሲመለስ ሂሳቡ ተከፍሏል፣ ቁጭ ብሎ የማንቆርቆሪያውን ክዳን ከፈት አድርጎ አስቀመጠው፣ ውሃ እንዲጨምሩልን።