ሐረጎን በኋላ ጎማ፦ የደሴና የኮምቦልቻ መንገድ በዝናብ፣ በጉምና በበረዶ

ሐረጎ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣው ጠመዝማዛ ዳገት ነው። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። የከፍታቸው ልዩነት ግን ወደ 650 ሜትር ይጠጋል። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር አካባቢ ላይ፣ በቦርከና ወንዝ ዳር ሜዳው ላይ ተዘርግታለች። ደሴ ደግሞ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ጦሳ ተራራን በምዕራብ አዝዋ ገደልን በምሥራቅ አድርጋ ተቀምጣለች። በየ100 ሜትሩ ከፍታ ሙቀቱ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ስለሚቀንስ፣ ደሴ ከኮምቦልቻ በ4 ዲግሪ ያህል ትቀዘቅዛለች። ኮምቦልቻ በሸሚዝ የተሳፈረ ሰው ደሴ መናኸሪያ ሲወርድ ጃኬት ማሰቡ አይቀርም።

ይህ ጽሑፍ በዚህ መንገድ ላይ በኋላ ጎማው የሚገፋ መኪና እንዴት እንደሚነዳ የሚያትት ነው። በአማርኛ እንዲህ ያለ ነገር ተሰብስቦ አላገኘሁም። ስለ በረዶ አነዳድ የሚነበበው ሁሉ ለበረዶ አገር ሰው የተጻፈ ነው። እዚህ ያለው እውቀት ደግሞ ከሹፌር ወደ ረዳት በቃል የሚተላለፍ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው ከጠበቅኩት በላይ ተመሳሰሉብኝ። ሐረጎን ክረምት ከበጋ በኋላ ጎማ የነዳ ሰው የበረዶ አነዳድን ግማሹን ያውቃል ብል ማጋነን አይመስለኝም።

በረዶ ስንል

በአማርኛ «በረዶ» ብዙ ነገር ይሸከማል። ከሰማይ የሚወርደው ጠጠር በረዶ ነው። ፍሪጅ ውስጥ የረጋው ውሃም በረዶ ነው። አውሮፓ ውስጥ እንደ ጥጥ ብን እያለ የሚወርደውም ያው በረዶ ነው። ሌሊት ሣር ላይ የሚያነጣው ውርጭ ወይም አመዳይ ይባላል። ለሹፌር ግን አራቱ አራት የተለያዩ መንገዶች ናቸው።

ደሴና ሐረጎ የሚያውቁት ጠጠሩን ነው። በበልግና በክረምት መግቢያ ድንገት ይወርዳል፣ ለአጭር ጊዜ አስፋልቱን ያለብሳል፣ ከዚያ ይቀልጣል። ውርጭ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ከከተማው በላይ ባሉት ደጋዎች ይታያል። እንደ ጥጥ የሚወርደው በረዶ በአገራችን የራስ ዳሸንን ያህል ከፍታ ይፈልጋል። ደሴ ላይ መንገድ የሚዘጋ በረዶ ጥሎ ነበር የሚሉ አዛውንት አይጠፉም፤ ጠጠሩ ተከምሮ ያዩትን ይሆናል የሚያወሩት።

መኪኖቹ

በዚህ መንገድ ላይ ከሚመላለሱት አብዛኞቹ የሚገፉት በኋላ ጎማቸው ነው። አይሱዙው፣ ከአይሱዙ ተሠርቶ ሰው የሚጭነው ቅጥቅጥ፣ አባዱላው፣ ዶልፊኑ፣ ሲኖትራኩ ሁሉም እንደዚያ ናቸው። ፒክአፖችም የፊቱ ጎማ ካልታሰረላቸው በኋላ ብቻ ይሄዳሉ። ባጃጅ እንኳ የሚገፋት የኋላው ነው።

ከቤት መኪና ወገን የድሮዎቹ ፔጆ 404 እና 504፣ ላዳ፣ ቮልስ በኋላ ጎማ የሚሄዱ ነበሩ። ቮልስ ሞተሯም ከኋላ ነው። ክብደቷ በሚገፋው ጎማ ላይ ስለሚያርፍ ጭቃ ላይ ትልልቆቹን ታሳፍራለች። የቶዮታ ኮሮላ ነገር ትንሽ ይለያል። ሰው ሁሉንም በጅምላ «ዲኤክስ» ይላል፤ ግን እ.ኤ.አ. ከ1983 ወዲህ የወጡት አብዛኞቹ በፊት ጎማ የሚጎትቱ ናቸው። ከዚያ በፊት ያለው የኋላ ነው። ጥርጣሬ ያለው ሰው ጎንበስ ብሎ ከሥር ይመልከት። ከካምቢዮ (ከማርሽ ሳጥኑ) ወደ ኋላ የሚሄድ ረጅም ዘንግና ከኋላ የተንጠለጠለ ዲፈረንሻል (ጉልበቱን ለሁለቱ ጎማዎች የሚያከፋፍለው) ካየ ጨዋታው አለቀ።

መንገዱና 1928 ዓ.ም.

ስለዚህ መንገድ በደንብ ተጽፎ የሚገኘው የ1928 ዓ.ም. ታሪክ ነው፤ እኔም እዚያ ላይ ትንሽ እቆያለሁ።

በዚያ ዓመት ደሴ የንጉሠ ነገሥቱ የጦር ሠፈር ነበረች። ኅዳር 26 ቀን የጣሊያን አውሮፕላኖች ከተማዋን ሲደበድቡ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እዚያው ነበሩ፤ መትረየስ ላይ ሆነው ተኩሰዋል። ንጉሡ ወደ ደሴ የመጡት በመኪና ነው። ይህን የምጠቅሰው «መንገዱን የሠራው ጣሊያን ነው» የሚባለው አነጋገር ስለሚከነክነኝ ነው። ጣሊያን ሳይገባም መኪና የሚያስኬድ መንገድ ነበር። ጣሊያን አስፍቶታል፣ አስፋልት አልብሶታል፤ እሱን መካድ አይቻልም። ድንጋዩን የፈለጡ እጆች ውስጥ ግን የአገሬው ሰው እጅ ብዙ ነው።

ጣሊያን ደሴን የያዘው ሚያዝያ 7 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። በ11ኛው ቀን፣ ሚያዝያ 18፣ የጣሊያን ጦር አዛዥ ማርሻል ባዶሊዮ ከ1,700 የሚበልጡ መኪኖችን አሰልፎ ወደ አዲስ አበባ ተነሳ። ፊያት፣ ላንቻ፣ ፎርድ፣ ሼቭሮሌ፣ የተገኘው ሁሉ ነበረበት። አብዛኛው በኋላ ጎማ የሚሄድ የጭነት መኪና ነው። ሮም ጉዞውን «የብረት ፈቃድ ጉዞ» ብላ አወደሰችው። ዝናቡ ግን ብረትም ፈቃድም አላየም። መኪኖቹ ጭቃ ውስጥ ሰጠሙ፤ ወታደሩ በትከሻው ገፋቸው። ጣርማበር ተራራ ላይ አርበኞች መንገዱን ስላፈረሱት ሠልፉ ቆሞ ጥገና ሲጠብቅ ከረመ። 400 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነው መንገድ አሥር ቀን ወሰደ። አዲስ አበባ የገቡት ሚያዝያ 27 ነው። ስሌቱ በቀን 40 ኪሎ ሜትር ይመጣል። ዛሬ ይህን ያህል መንገድ አንድ ዶልፊን በአንድ ቀን ይጨርሰዋል።

ከዚያ ወዲህ ያለው ባጭሩ ይህ ነው። በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቁሞ መንገዱን ተረከበ። በደርግ ዘመንና እስከ 1990ው የኤርትራ ጦርነት ድረስ ከአሰብ በባቲ በኩል የሚመጡት ከባድ መኪኖች ኮምቦልቻን ያጨናንቋት ነበር። በ2014 ዓ.ም. ሁለቱም ከተሞች ጦርነት አሳልፈዋል።

ኋላው ለምን ይሸሻል

በኋላ ጎማ የሚሄድ መኪና ሥራው የተከፋፈለ ነው። የፊቱ ጎማ መሪ ይቀበላል፣ የኋላው ይገፋል። ደረቅ መንገድ ላይ ይህ ክፍፍል ደስ ይላል። ዳገት ላይ ደግሞ ክብደቱ ወደ ኋላ ስለሚያዘነብል የሚገፋው ጎማ መሬት ይነክሳል። ሐረጎን የተጫነ አይሱዙ እያጉረመረመ ሲወጣ በፊት ጎማ የሚጎትት ባዶ መኪና አጠገቡ ጎማ ሲያሽከረክር የሚታየው ለዚህ ነው።

ችግሩ ባዶ ሲሆንና ሲወርድ ነው። ቁልቁለት ላይ ክብደቱ ወደ ፊት ይሄዳል፤ ኋላው ይቀላል። በዚህ ላይ ነዳጅ ከተረገጠ ወይም ማርሽ በድንገት ከከበደ (ወደ ዝቅተኛ ቁጥር ከተቀየረ) የኋላ ጎማው መያዣ ያጣና ጭራው ወደ ጎን ይወጣል። ተራ ዲፈረንሻል ደግሞ ጉልበቱን የሚልከው ወደሚቀልለው ጎማ ነው። አንዱ ጎማ ጭቃ ውስጥ ሲያፏጭ ሌላው ደረቁ ላይ ዝም ብሎ ይቆማል። የከባድ መኪና ሹፌሮች ዲፈረንሻሉን የሚያስሩት ለዚህ ነው። ደረቅ ላይ ሲደርሱ መፍታት አለባቸው፤ አለዚያ ኩርባ ላይ መሪው እንቢ ይላል።

በቁጥር እናስቀምጠው። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ፍሬን ከተያዘ በኋላ ደረቅ አስፋልት ላይ 9 ሜትር ገደማ ሄዶ ይቆማል። እርጥብ ላይ 13 ሜትር ይሆናል። በረዶ የለበሰ መንገድ ላይ ከ30 ሜትር በላይ፣ እንደ መስታወት የረጋ በረዶ ላይ ደግሞ ከ60 ሜትር በላይ። እግር ወደ ፍሬን እስኪደርስ የሚያልፈው ርቀት አልተቆጠረም። ሐረጎ ላይ ደግሞ 60 ሜትር ቀጥ ያለ መንገድ ለማግኘት ዕድል ያስፈልጋል።

አነዳዱ

የመጀመሪያው ሕግ ሁሉም የሚያውቀው ነው፤ በወጣህበት ማርሽ ውረድ። ቁልቁለቱ ሳይጀምር ወደ ከባድ ማርሽ ይገባል። ፍሬን የሚያዘው ቀጥታው ላይ፣ ከኩርባው በፊት ነው። ዜሮ ማርሽ አድርጎ ነዳጅ መቆጠብ የሐረጎ ሹፌር ዘንድ ነውር ነው። ሽቅብ ሲሆን መንገዱ ከራሰ በሁለተኛ ማርሽ መነሳት ይሻላል፤ ጉልበቱ ስለሚለዝብ ጎማው አያፏጭም። ፍሪሲዮን (ክላች) ቀስ ተብሎ ይለቀቃል። የጀመሩትን ዳገት መሐል ላይ አለማቆም ነው። ከቆመም ረዳቱ ጎማ ማስደገፊያውን ታኮ ይዞ ይወርዳል።

ጭራው ከሸሸ እግር ከነዳጅ ይነሳል፣ ፍሬን አይነካም፣ መሪው ጭራው ወደሸሸበት አቅጣጫ ይዞራል። ኋላው ወደ ቀኝ ከወጣ መሪም ወደ ቀኝ። መኪናው ሲቃና መሪውንም ቶሎ መመለስ ያስፈልጋል፤ አለዚያ ጭራው በሌላው ጎን ይሸሽብሃል። የሸሸው ማርሽ በመክበዱ ከሆነ ፍሪሲዮን ረግጦ የኋላውን ጎማ ነጻ ማድረግ ያድናል።

ይህን የመጨረሻውን የተማርኩት ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ፣ በአንድ የሚያዝያ ከሰዓት ነው። መኪናዬ አሮጌ ዲኤክስ፣ የኋላው ዓይነት። ብቻዬን ነኝ፣ ሻንጣው ባዶ። ሐረጎ ላይ ሽምብራ የሚያክል በረዶ መውረድ ጀመረ። ጣራው እንደ ቆርቆሮ ቤት ጮኸ። አስፋልቱ በአምስት ደቂቃ ነጣ። ኩርባው ሲመጣ ደነገጥኩና ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ አስገብቼ ፍሪሲዮኑን ባንዴ ለቀቅኩት። የኋላው ጎማ ተያዘ። ከዚያ የባሕር ዛፎቹ በመስታወቱ ላይ ወደ ጎን ሲሄዱ አየሁ። መኪናዋ መንገዱን ዘግታ አግድም ቆመች።

ከኋላዬ የነበረው አይሱዙ ራቅ ብሎ ቆመ። ረዳቱ ታኮውን ታቅፎ እየተንሸራተተ መጣ። «አብሽር ጋሼ፣ አብሽር!» ብሎ ታኮውን ከጎማዬ ሥር ጣለ። ሹፌሩ ሸምገል ያሉ ሰው ነበሩ። በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው «ማርሹን ምን አስቸኮለህ?» አሉኝ። ሌላ ነገር አልተናገሩም። በረዶው እስኪቀልጥ ሁላችንም ቆምን።

ጉም ሌላው ባለጋራ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ሐረጎ ላይ ቀን በቀን መብራት ያስበራል። ረጅሙ መብራት ጉሙ ላይ ነጥቶ ዓይን ስለሚወጋ የሚበራው አጭሩ ነው። ኩርባ ላይ ጡሩምባ ይነፋል፣ ለሚወጣው ቅድሚያ ይሰጣል።

የሚያከራክሩ ሁለት ነገሮች

አንደኛው ጭነት ነው። ባዶ ፒክአፕ ላይ ሁለት ሦስት ጆንያ መጣል ያረጋጋል የሚሉ አሉ፤ ትክክል ናቸው። ክብደቱ ማረፍ ያለበት ግን ከኋላው ጎማ በላይ ነው። ከዚያ አልፎ ጫፉ ላይ ከሆነ የፊቱ ይቀልና መሪው አይታዘዝም። ቁልቁለት ላይም ከባድ መኪና ፍሬኑ ቶሎ ይግላል።

ሁለተኛው የጎማ ነፋስ ነው። ትንሽ ቀነስ ማድረግ ለጭቃ ይረዳል። ብዙ ሹፌሮች ለእርጥብ አስፋልትም ይጠቅማል ብለው ያምናሉ። አይጠቅምም። የላላ ጎማ ውሃውን ገፍቶ ማውጣት ስለማይችል ውሃው ላይ ይንሳፈፋል። ጥርሱ ያለቀ ጎማ ደግሞ ነፋሱ ቢበዛም ቢያንስም ያው ነው።

ሐረጎ የማያስተምረው

በረዶ አገር የሄደ የደሴ ልጅ የለስላሳ እግርን ነገር ይዞ ይሄዳል። የሚጎድለው ቅዝቃዜው ነው። እዚህ በረዶው ሲወርድ አስፋልቱ ሞቃት ነው፤ ቶሎ ይቀልጣል። እዚያ ግን ለወራት ይረጋል። ተራ ጎማ ከ7 ዲግሪ በታች እየደረቀ ይሄዳል፤ የክረምት ጎማ ለስላሳ ሆኖ የሚቆይ ላስቲክ አለው። ካናዳ ውስጥ ኩቤክ ክፍለ ሀገር ከዲሴምበር 1 እስከ ማርች 15 የክረምት ጎማ በሕግ ግዴታ ነው። ጨው የሚበትኑትም በረዶውን ለማቅለጥ ነው፤ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ግን ተራ ጨው አቅም ያንሰዋል።

ከሁሉም የሚከፋው አስፋልቱን ራሱን የሚመስለው፣ በዓይን የማይለየው ስስ በረዶ ነው። ድልድይ ከላይም ከታችም ነፋስ ስለሚያገኘው ከመንገዱ ቀድሞ ይረጋል። እዚያ ላይ መሪም ፍሬንም ሳይነኩ በያዙት አቅጣጫ ዝም ብሎ ማለፍ ነው።

ሰንሰለት የሚታሰረው በሚገፋው ጎማ ላይ ነው፤ ለእኛ ዓይነቱ መኪና በኋላው ማለት ነው። በኋላ ጎማ የሚሄድ መኪና ያላቸው የዚያ አገር ሰዎች ክረምት ሲመጣ ሻንጣቸው ውስጥ የአሸዋ ከረጢት ያስቀምጣሉ። ክብደት ይሆናል፤ መኪናው ሲቀረቀርም አሸዋው ወርዶ ከጎማው ሥር ይበተናል።