ሃሰንፕፍሉግ ምንድን ነው? ማረሻን የጠላ የጀርመን የቤተሰብ ስም

ግዛው፣ ናደው፣ ጣሰው። እነዚህን ስሞች ስንጠራ ትእዛዝ መሆናቸው ትዝ አይለንም፤ ስም ናቸው፣ አለቀ። ጀርመኖችም ሃሰንፕፍሉግ (Hassenpflug) የሚባል ሰው ሲጠሩ እንዲሁ ናቸው። ስሙ ግን ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው፤ «ማረሻውን ጥላ» ይላል። («ጥላ» ከመጥላት የመጣ ትእዛዝ ነው እንጂ የፀሐይ ጥላ አይደለም።)

ስሙን ብንሰነጥቀው ሦስት ቁራጭ ይወጣዋል። «ሃስ» መጥላት ነው፤ «ፕፍሉግ» ማረሻ ነው። መሃል ላይ ያለችው «ኤን» የ«ዴን» ስባሪ ናት። የ«ዴን» ሥራ በአማርኛ «ማረሻውን» ስንል «ውን» የሚሠራው ሥራ ነው፤ ነገሩ የታወቀ መሆኑንም፣ ድርጊቱ የሚያርፍበት መሆኑንም በአንዴ ይናገራል። ሰዎች ቶሎ ቶሎ ሲጠሩት «ሃስ ዴን ፕፍሉግ» መሃሉ ተበልቶ ሃሰንፕፍሉግ ሆነ። ትእዛዝ ሳይሆን «ማረሻውን እጠላለሁ» ከሚል የሰውየው የራሱ ንግግር የመጣ ነው የሚል ንባብም አለ። የጀርመንኛው ቅርጽ ሁለቱንም ይፈቅዳል፤ ለትርጉሙ ብዙ ለውጥ አያመጣም።

እንዲህ ያለውን ስም ጀርመኖች «ዛትስናመ» ይሉታል፣ የዓረፍተ ነገር ስም ማለት ነው። ወገኖቹ ጥቂት አይደሉም። ሄበንሽትራይት «ጠቡን አንሳ» ነው፤ ሃውደንሺልት «ጋሻውን ምታ»፤ ሽፕሪንግኢንስፌልት «ዘለህ ሜዳ ግባ»፤ ሽሉከቢር «ቢራውን ዋጥ»፤ ፊንትአይዘን «ብረት አግኝ»፤ ዛርላንድ ውስጥ የሚበዛው ሃስደንቶይፈል ደግሞ «ሰይጣንን ጥላ»። ከጀርመን ውጭም አሉ። የእንግሊዙ ሼክስፒር «ጦር ነቅንቅ»፣ የጣሊያኑ ቤቪላኳ «ውሃ ጠጣ»፣ የፈረንሳዩ ቧሎም እንዲሁ «ውሃ ጠጣ» ነው። ውሃ ጠጣ የተባለው ሰው ምናልባት ወይን የማይወድ፣ ምናልባትም ወይን ብቻ የሚወድ ነበር። የፌዝ ስም በሁለቱም በኩል ይሠራልና ከስሙ ተነስቶ የሰውየውን ጠባይ መፍረድ አያዋጣም።

ከእኛዎቹ ጋር መመሳሰላቸው እዚህ ላይ ያበቃል። ግዛውን ወይም ናደውን ወላጅ ነው የሚያወጣው፣ ለሕፃን፣ እንደ ምኞት። ዛትስናመን ያወጡት ግን ጎረቤትና የሥራ ባልደረባ ናቸው፤ ያወጡትም ላደገ ሰው፣ አብዛኛውን ጊዜ ለመቀለድ ነው። ስለዚህ ለእኛ ቅጽል ስም ይቀርባል። ልዩነቱ ቅጽሉ ከሰውየው ጋር አልተቀበረም፤ ለልጁ፣ ለልጅ ልጁም ተረፈ።

ለምን ተረፈ? ጀርመን ውስጥ የቤተሰብ ስም መያዝ የጀመረው በምዕራብና በደቡብ ባሉ ከተሞች፣ በ12ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ ነው። ከተማው ሰፋ፣ ስሙ ግን ያው ሃይንሪሽ፣ ዮሐንስና ኮንራት ነበር። ግብር ሰብሳቢውም ዳኛውም ሃይንሪሽን ከሃይንሪሽ የሚለዩበት ነገር ሲያጡ ሕዝቡ አስቀድሞ የሚጠራበትን ተጨማሪ ስም መዝገብ ላይ አሰፈሩት። ልማዱ ወደ ሰሜንና ወደ ገጠር ለመድረስ ጥቂት መቶ ዓመታት ፈጀበት፤ ኦስትፍሪስላንድ የሚባለው የሰሜን ባሕር ዳርቻ እስከ 1811 ድረስ (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) እንደ እኛ በአባት ስም ይጠራ ነበር፣ ያስተወው የናፖሊዮን አዋጅ ነው። የተመዘገቡት ስሞች በጅምላ አምስት ዓይነት ናቸው፤ ከአባት ስም፣ ከመጡበት አገር፣ ከሚኖሩበት ቦታ፣ ከሙያ እና ከጠባይ ወይም ከመልክ የወጡ። የእኛ ሃሰንፕፍሉግ ከመጨረሻው ጎራ ነው።

እግረ መንገድ፣ ይህ ጉዳይ ዛሬም ጀርመን ያሉ ኢትዮጵያውያንን ይነካል። የጀርመን ሕግ የግል ስምና የቤተሰብ ስም ለይቶ ይፈልጋል፤ የእኛ ሦስተኛ ስም ግን የአያት እንጂ የቤተሰብ አይደለም። ስሙ በጀርመን ሕግ መተዳደር የጀመረ ሰው፣ ለምሳሌ ዜግነት ሲያገኝ፣ ከስሞቹ የትኛው የቤተሰብ ስም እንደሚሆን በመግለጫ መወሰን ይችላል። ይህን የሚፈቅደው ከ2007 ጀምሮ የሚሠራው የፍትሐ ብሔር ሕጉ መግቢያ ሕግ አንቀጽ 47 ነው፤ መግለጫው የሚሰጠው ልደት፣ ጋብቻና ሞት በሚመዘገብበት የክብር መዝገብ ቢሮ ነው። የተመረጠው ስም ለልጆች ይተላለፋልና ወንድምና እህት የተለያየ ምርጫ ካደረጉ የልጆቻቸው ቤተሰብነት በወረቀት አይታይም። አስቀድሞ መመካከር ይሻላል።

ማረሻን ጠላ የተባለው ማን ነበር? ቀላሉ መልስ እርሻ የሚያንገሸግሸው ገበሬ ነው። ሁለተኛው ከሙያ ማኅበራት ይነሳል። ተለማማጅ አንጥረኛ ሥልጠናውን ጨርሶ ወደ ባልደረቦቹ ማኅበር ሲገባ በፌዝ ሥርዓት «ይጠመቅ» ነበር፤ ያን ጊዜ አዲስ ስም ይወጣለታል፤ ፊንትአይዘንን የመሳሰሉት ከዚያ የወጡ ናቸው። የገበሬ ልጅ ሆኖ ሞፈርና ቀንበሩን ጥሎ ወደ መዶሻ ለመጣ ጎረምሳ «ማረሻውን ጥላ» የሚገጥም ስም ነው። ሁለተኛው የበለጠ ያሳምናል፤ መንደሩ ሁሉ በሚያርስበት ቦታ ማረሻን መጥላት አንድን ሰው ከሌላው አይለይም፣ ከማረሻ የሸሸው ግን ይለያል። ይሁንና ስሙን የተሸከመ ቤተሰብ ሁሉ ከአንድ ሰው ወረደ ማለት አይቻልም፤ ቀልዱ በሁለት በሦስት መንደር ለየብቻው ሊወለድ ይችላል።

ስሙ በታሪክ ጎልቶ የሚታየው በመካከለኛው ጀርመን፣ ካሰል በተባለችው የሄሰን ከተማ ነው። ማሪ፣ ጃኔትና አማሊ ሃሰንፕፍሉግ የተባሉት እህትማማቾች ለግሪም ወንድማማቾች ተረት ከነገሩት መካከል ናቸው፤ የመጀመሪያው የተረት መጽሐፍ በ1812 ሲወጣ የእነሱም ተረቶች ነበሩበት። ወንድማቸው ሉድቪግ፣ ሃናው ላይ በ1794 የተወለደው፣ በ1822 የግሪሞችን እህት ሎተን አገባ። ኋላ ኩርሄሰን የተባለው የሄሰን ግዛት ሚኒስትር ሆኖ ሕዝቡን አስመረረ፤ ተቃዋሚዎቹም ስሙን ገለበጡበትና «ሄሰንፍሉኽ» አሉት፣ የሄሰን እርግማን። ቅኔው የሠመረው በአጋጣሚ አይደለም። በመካከለኛው ጀርመን አነጋገር «ፕፍሉግ» መጨረሻው ላልቶ «ፍሉኽ» ሊባል ይችላል፤ «ፍሉኽ» ደግሞ እርግማን ነው። ሰሙና ወርቁ ከአፍ ሳይወጣ የተዘጋጀ ነበር።

ይህ አነጋገር ስሙን ለሚፈልግ ሰው ዋነኛው ቁልፍም ዋነኛው ወጥመድም ነው። «ፕፍ» የጽሕፈት ቤት አጻጻፍ ነው። በሄሰን ገጠር አፍ «ፕ» ብቻ ይቀራል፤ ወደ ጎረቤቱ ቱሪንገን ሲሻገሩ «ፍ» ብቻ። ጸሐፊው የሰማውን ሲጽፍ አንድ ቤተሰብ ሃሰንፕሉግም ሃሰንፍሉግም ሆኖ ሊገኝ ይችላል። በዚያ ላይ የ«ስ» ጉዳይ አለ፤ በሁለት ኤስ (ss)፣ ኤስትሴት በምትባለው ፊደል (ß)፣ አንዳንዴም በአንድ ኤስ (s) ይጻፋል። በአንድ ኤስ ሲጻፍ ሃዘንፕፍሉግ ተብሎ ይነበባል፤ «ሃዘ» ጥንቸል ነውና ስሙ «የጥንቸል ማረሻ» ሆኖ ቁጭ ይላል። ትርጉሙ ሲጠፋበት ሕዝብ የሚያውቀውን ቃል ይተካል። አብያተ ክርስቲያናትን በመሣል የታወቀው ካርል ሃዘንፕፍሉግ፣ በ1802 በርሊን ተወልዶ በ1858 ሃልበርሽታት ያረፈው፣ ስሙን የያዘው በዚህኛው መልክ ነው።

አሁን የት አለ? ሰፍሮ የሚገኘው በሰሜን ሄሰንና በአጎራባቹ የቱሪንገን ክፍል ነው፤ ከዚያ የወጣው ደግሞ በትልልቅ ከተሞች ተበትኗል። ይህን የሚያሳዩት ካርታዎች የሚሠሩት ከስልክ ማውጫ ነው። የጀርመን የቤተሰብ ስሞች አትላስ መነሻው የ2005 የዶይቸ ቴሌኮም የቤት ስልክ መስመሮች ናቸው። የዛሬውን የማይጠቀሙት ሞባይል ማውጫ ውስጥ ስለማይገባ ነው፤ አሁን ማውጫ የሚቆጥር ሰው የሚቆጥረው ሽማግሌዎችን ነው። በሌላ በኩል ከ1990 በፊት የነበረው ማውጫ ለምሥራቁ ክፍል አይሆንም፤ በምሥራቅ ጀርመን ስልክ የነበረው ቤት ጥቂት ነበር፣ ቱሪንገን ባዶ መስሎ ይታያል። አንድ መስመርም አንድ ቤት እንጂ አንድ ሰው አይደለም።

ካርታ ሲያዩ መጀመሪያ የሚጠየቀው፣ ቀለሙ ጥሬ ቁጥር ነው ወይስ ድርሻ? ለማስረዳት ያህል ቁጥር እንፍጠር። አንድ ትልቅ ከተማ 1,500,000 መስመር ኖሮት ስሙ 30 ጊዜ ቢገኝ፣ አንድ የገጠር ወረዳ ደግሞ 25,000 መስመር ኖሮት 15 ጊዜ ቢገኝ፣ በጥሬ ቁጥር ከተማው እጥፍ ይበልጣል። በሚሊዮን መስመር ሲሰላ ግን ከተማው 20፣ ወረዳው 600 ይሆናል። የስሙ ቤት ወረዳው ነው። በርሊን፣ ሃምቡርግና ሙኒክ በማንኛውም ስም ጥሬ ካርታ ላይ ይደምቃሉ፤ የሚሉት ነገር የለም።

ሁለተኛው ጥንቃቄ የ1945 ጉዳይ ነው። ከጦርነቱ በኋላ ከምሥራቅ ግዛቶች ወደ 12 ሚሊዮን ጀርመናውያን ተፈናቀሉ፤ ሽሌዝያ ወይም ምሥራቅ ፕሩሲያ የተወለደ ስም በዛሬው ካርታ ላይ እንደተበተነ ጤፍ ነው፣ መሃል የለውም። ሃሰንፕፍሉግን ቀላል የሚያደርገው ከስፍራው አለመነቀሉ ነው። ብርቅ ሆኖ መቆየቱ ደግሞ የውርስ ሕግ ሥራ ነው። በምዕራብ ጀርመን እስከ 1976 ድረስ የጋብቻ ስም የባል ስም ነበር፤ ሴት ልጆች ብቻ የወለደ ቤት ስሙ በአንድ ትውልድ ይቆም ነበር። እንደ ሚለር ያለውን የተለመደ ስም ይህ አይጎዳውም፣ አሥር ቤት ሲዘጋ መቶ ቤት አለው። በጥቂት መንደር የተቀመጠ ስም ግን እያንዳንዱ የተዘጋ ቤት ይሰማዋል።

ከካርታው ወደ ሰነድ የሚወርድ ሰው መንገዱ እንዲህ ነው። ከቅርቡ ወደ ሩቁ፣ ትውልድ ሳይዘሉ። የክብር መዝገብ ሰነዶች ለሁሉም የሚከፈቱት ልደት 110፣ ጋብቻ 80፣ ሞት 30 ዓመት ሲሞላቸው ነው፤ ከዚያ በፊት የሚፈቀደው በዋናነት ለራስና ለቀጥታ ዘመድ ነው። በሁሉም ጀርመን መዝገቡ የተጀመረው በጥር 1876 ነው፤ ኩርሄሰንን ግን በ1866 ፕሩሲያ ስለጠቀለለቻት፣ እዚያ እንደ ፕሩሲያ ሁሉ ከጥቅምት 1874 ይጀምራል። ካሰል በናፖሊዮን ዘመን የቬስትፋልያ መንግሥት ዋና ከተማ በነበረችበት ጊዜም፣ ከ1808 ጀምሮ ለጥቂት ዓመታት የተያዘ አጭር የመንግሥት መዝገብ አለ፤ ብዙ ሰው ይዘለዋል። ከ1874 ወደ ኋላ ያለው የቤተ ክርስቲያን መዝገብ ነው። የፕሮቴስታንቶቹ አርኪዮን በተባለው ድረ ገጽ በክፍያ፣ የካቶሊኮቹ ማትሪኩላ በተባለው በነፃ ይታያሉ፤ አጥቢያው የተጫነ መሆኑን ሳያረጋግጡ አለመክፈል ነው። ከሠላሳው ዓመት ጦርነት፣ ከ1618 እስከ 1648፣ በፊት ያለው መዝገብ በብዙ አጥቢያ ተቃጥሏል፤ ከዚያ ወደ ኋላ የሚረዳው የግብር ዝርዝር ነው።

ጽሕፈቱ ኩረንት የሚባለው የድሮ እጅ ነው። በኩረንት ኤ (e) የተባለችው ፊደል ኤንን (n) ትመስላለች፤ ረጅሙ ኤስም (ſ) ከኤፍ (f) ጋር ይምታታል፤ ስለዚህ ሃሰንፕፍሉግ በመረጃ ቋት ውስጥ «ሃፈንፕፍሉግ» ተብሎ ቢገኝ አይገርምም። ሚስትና ሴት ልጅ እስከ 18ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ መጨረሻው ላይ «ኢን» ተጨምሮላቸው ሃሰንፕፍሉጊን ተብለው ይጻፋሉ፤ ያ ሌላ ቤተሰብ አይደለም። ከ1876 ወዲህ አጻጻፉ በሕግ ደርቋል፤ ሁለት ወንድማማቾች በተለያየ ኤስ ከተመዘገቡ ዘሮቻቸው እስከ ዛሬ ይለያያሉ፣ የ1996 የአጻጻፍ ማሻሻያም የቤተሰብ ስምን አልነካም።

አሜሪካ ያለው ቅርንጫፍ ደግሞ ኤፏን ጥሏታል። ፔንሲልቬንያ ውስጥ ሚፍሊንበርግ አጠገብ፣ በፋሎ ክሪክ የሚባለውን ወንዝ የሚሻገር በ1825 ገደማ የተሠራ ጣሪያ ያለው የእንጨት ድልድይ አለ፤ ስሙ ሃሰንፕለግ ነው። ኤፏን የበላት የእንግሊዝኛ ጆሮ ይሁን ከሄሰን አብሮ የተሻገረ አፍ፣ ወረቀቱ ላይ ውጤቱ አንድ ነው። ስለዚህ ከዚያ ወገን ሆኖ ጀርመን ውስጥ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ኤፏን መልሶ ያስገባል፤ ካላገኘ ያወጣታል።